የመንገደኛው መከራና የባለ አገሩ ጥያቄ

የልብ ወለድ ደራስያን ደጋግመው ከሚመለሱባቸው ታሪኮች አንዱ ቀዬውን ጥሎ ወደማያውቀው አገር ስለሚጓዝ ሰው የሚነገረው ነው። ራብ ወይም ተስፋ ያስነሣዋል፤ በመንገድ ልጁን ይቀብራል፤ ከብቱ ያልቅበታል፤ ከደረሰም በኋላ በሽታ ያንገላታዋል። በመጨረሻ ከተረፉት ጋር ጎጆ ቀልሶ ያርሳል። አንባቢ እንዲህ ያለውን ሰው ይወዳል፤ እኛም እንወደዋለን። ነገር ግን ይህ ፍቅር አንድ ጥያቄ ያስረሳናል። ይኸውም ሰው በመንገድ የተቀበለው መከራ በደረሰበት ምድር ላይ መብት ይሰጠዋልን? የሚለው ነው።

በቋንቋችን እንዲህ ያለውን ሰው «አገር አቅኚ» እንለዋለን። ቃሉ ውብ ነው፤ ሆኖም በውስጡ ፍርድ አለበት፤ የሚቀናው ነገር አስቀድሞ የጎበጠ መሆን አለበትና። «ጠፍ መሬት» ስንልም እንደዚሁ ነው። ጠፍ የሚሆነው ለማን እንደሆነ አንጠይቅም።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1840ዎቹ ጀምሮ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በበሬ በሚጎተቱ ሠረገሎች 3,200 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ተጉዘዋል። ብዙዎቹን የፈጃቸው ኮሌራና የመንገድ አደጋ ነበር። በ1846 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ከተጓዙት አንዱ ወገን፣ 87 ሰዎች ያሉበት፣ በሲየራ ኔቫዳ ተራራ በረዶ ዘግቶበት ግማሽ ያህሉ አልቋል። ከዚህ ዘመን ትዝታ ብዙ መጻሕፍት ተጽፈዋል። ከእነርሱ መካከል ሎራ ኢንግልስ ዋይልደር በ1935 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው የሕፃናት መጽሐፍ የኦሴጅ ሕዝብ ይኖርበት በነበረው በካንሳስ ምድር ስለሠፈረ ቤተሰብ ይተርካል። በመጀመሪያው እትም ደራሲዋ በዚያ ምድር ሰው እንዳልነበረ፣ የነበሩት ሕንዶች ብቻ እንደሆኑ ጽፋ ነበር። አንድ አንባቢ በ1952 ይህን አመልክቶ ለአሳታሚው ደብዳቤ ላከ። በ1953ቱም እትም «ሰው» የሚለው ቃል ወጥቶ «ሰፋሪ» የሚለው ገባ። ደራሲዋ ክፉ ሴት አልነበረችም። መጽሐፉ ግን 17 ዓመት ያህል በብዙ ልጆች እጅ ሲዞር ቃሉ ሳይነካ ኖሯል። የጉዞው መከራ በእጅጉ ልብ የሚነካ ስለሆነ ሌላውን ለማየት ዓይን አልተረፈም።

በእኛ አገር ይህን ያህል ሠረገላ አልታየም፤ ጉዞው ግን አለን። ከደብረ ማርቆስ በስተ ምዕራብ፣ ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚያቆለቁለው በደብረ ኤልያስ አካባቢ የሚኖር የደጋ ሰው ቆላ መውረድ ምን እንደሆነ ያውቃል። ወባ ሰውን፣ ገንዲ በሬን ይጥላል። አባቶች መሬት ጠቦባቸውም እንኳ ደጋውን የሙጥኝ ያሉት ስንፍና ይዟቸው አልነበረም። እንግዲህ በ1977 ዓ.ም. ከታላቁ ራብ በኋላ የደርግ መንግሥት 1.5 ሚሊዮን ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ለማስፈር ሲነሣ፣ ሰዎቹ ይወስዱበት የነበረው አገር አያቶቻቸው የፈሩት አገር ነበር። እስከ 1978 ዓ.ም. ድረስ 600,000 ያህል ሰዎች በአውቶቡስ፣ በጭነት መኪናና በአንቶኖቭ አውሮፕላን ተጓጓዙ። ወድዶ የሄደ አለ፤ ከገበያና ከእርዳታ ማደያ ተይዞ የተጫነም አለ። ባል ከሚስት፣ እናት ከልጅ የተለያዩበት ጊዜ ነው። የፈረንሳይ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ይህን በአደባባይ በመቃወማቸው በ1978 ዓ.ም. ከአገር ተባረሩ።

ከእነዚህ ውስጥ 80,000 ያህሉ ያኔ የጎጃም ክፍል በነበረው በመተከል፣ በበለስ ሸለቆ ፓዌ ላይ ሠፈሩ። ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከከምባታና ከሐዲያ የመጡ ነበሩ። ብዙዎች የደጋ ልብስና የደጋ ሰውነት ይዘው ወረዱና በወባ አለቁ። በኋላ የጣልያን መንግሥት ገንዘብ የመደበለት የጣና በለስ ፕሮጀክት ትራክተር፣ ሆስፒታልና መንገድ አመጣ፤ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ያም ቆመ፤ ብዙ ሰፋሪዎችም ወደመጡበት ተመለሱ። የቀሩት በእጃቸው ባለው ሠርተው ኖሩ። ይህን የሚጽፍ ደራሲ ቢነሣ ከአሜሪካኖቹ የሚያንስ ታሪክ አያገኝም።

ነገር ግን መሬቱ ባዶ አልነበረም። የጉሙዝ ሕዝብ በዚያ ይኖር ነበር። የጉሙዝ ገበሬ ጫካውን መንጥሮ፣ በመቆፈሪያ ቆፍሮ ለጥቂት ዓመታት ይዘራል፤ ከዚያ መሬቱ እንዲያርፍ ትቶት ወደሌላው ይሻገራል፤ ዱሩ ካገገመ በኋላ ይመለሳል። ካርታ ይዞ ለመጣ ሹም ያ ያረፈው መሬት ሰው ያልነካው ዱር ሆኖ ታየው። ከዚህ የተነሣ የጉሙዝ ሰዎች ከማሳቸው፣ ከአደናቸውና ከማራቸው ተገፉ። ከሠፈራው በኋላ በሁለቱ ወገኖች መካከል ደም ፈሰሰ።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ የሚያስተምረው፣ በጽኑ ችግር ላይ ያለ ሰው ለሕይወቱ የሚያስፈልገውን ከሌላው ሀብት ቢወስድ ሌብነት እንዳልሆነ ነው፤ የምድር ፍሬ ለሁሉ የተሰጠ ነውና። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም በ1965 እ.ኤ.አ. ይህን አጽንቷል። የተራበው የወሎ ሰው እንግዲህ እንጀራ የማግኘት መብት ነበረው። ነገር ግን የግብረ ገብ መምህራን በዚህ ላይ አንድ ገደብ ያኖራሉ፤ ባለቤቱ ራሱ በዚያው ችግር ላይ ከሆነ መብቱ ያበቃል። ለአንዱ ድኻ የሚሰጠው ከሌላው ድኻ አፍ ተነጥቆ መሆን የለበትም። በመተከል የሆነው ይህ ነው፤ የነጠቀውም ሰፋሪው አልነበረም። ራሱ ተጭኖ የመጣ ሰው ነውና ዕዳው ያጓጓዘው መንግሥት ነው።

ከዚህ ላይ ግን በሌላው በኩል ያለውን ስሕተት ማየት ይገባል፤ በእኛ አስተያየት ዛሬ የሚያሰጋው ይህኛው ነው። ቀድሞ የነበረው ሰው ተበድሏል ማለት በፓዌ የተወለደ የሰፋሪ ልጅ «መጤ» ተብሎ ይሰደድ ማለት አይደለም። ያ ልጅ ሌላ አገር አያውቅም፤ አባቱ የተቀበረው እዚያው ነው። ከ2011 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ዓመታት በመተከል ሴትና ሕፃን ሳይለይ የፈሰሰው ደም «ማን ቀድሞ መጣ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ሲቀር የት እንደሚያደርስ አሳይቷል። ስለዚህ መከራ የርስት ደብዳቤ አይሆንም ስንል፣ ቀዳሚነትም የማባረሪያ ሰነድ አይሆንም ማለታችን ነው።

ለዚህ ነው ታሪኩን የሚተርከው ሰው ኃላፊነት የከበደ ነው የምንለው። በደብረ ኤልያስ ቅኔ የተማሩት ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት ‹ፍቅር እስከ መቃብር› ውስጥ የፊታውራሪ መሸሻን ትዕቢትና የባላገሩን ብሶት ጎን ለጎን ሲያሳዩ፣ ፊታውራሪውን እንኳ ሰው እንጂ ጭራቅ አላደረጉትም። አንባቢ ይፈርድበታል፤ ያውቀዋልም። ስለ ሠፈራ የሚጽፍም ሆነ በቁምስና ለወጣቶች የሚተርክ ካቴኪስት ከዚህ ብዙ ይማራል። የእስራኤልን ጉዞ ስናስተምርም ቢሆን፣ ከዮርዳኖስ ማዶ ሰዎች ይኖሩ እንደነበር ልጆች ሲጠይቁን «ወደፊት ትረዱታላችሁ» ብለን ማለፍ የለመድን ጥቂቶች አይደለንም።

በፓዌ የሠፈራ መንደሮች ሲመሠረቱ ስም አልወጣላቸውም፤ በቁጥር «መንደር» ይህን ያህል ተባሉ፤ ብዙዎቹ ዛሬም በዚያው ይጠራሉ። ከታሪክ ጸሐፊ ወይም ከልብ ወለድ ደራሲ አንዱ ወደዚያ ቢወርድ፣ ከአንድ የሰፋሪ ሽማግሌ የመጣበትን መንገድ ከጠየቀ በኋላ፣ ወንዙን ተሻግሮ አንድ የጉሙዝ ሽማግሌ ዘንድ ቢቀመጥ፣ ቁጥሩ ከመሰጠቱ በፊት ያ ስፍራ ምን ይባል እንደነበር ይነግሩታል ብለን እናምናለን።