ረሃብን በስሙ ስለ መጥራት

አባቶቻችን ለሸንጎ ሲቀመጡ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይሉ ነበር። ይህ አባባል ለጨዋታ ማጣፈጫ ብቻ የሚነገር አይደለም፤ የዳኝነት ሥርዓትም ነው። ተሟጋች የነገሩን መነሻ፣ ያደረገውን ሰው ስምና የጠፋውን ንብረት ልክ ሳይናገር በቃላት ብዛት ሸንጎውን ሊያደክም ቢሞክር፣ ዳኛው ወደ ሥሩ ይመልሰዋል። ዛሬ በስብሰባ አዳራሽ፣ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤና በመገናኛ ብዙኃን የምንሰማው አነጋገር ግን ከዚህ ሥርዓት ብዙ ርቋል። ቃሉ ይረዝማል፤ ፍሬው ያጥራል። አድማጩ አጨብጭቦ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ «ምን አሉ?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን የሚመልሰው ያጣል።

ጉዳዩ የአነጋገር ውበት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሰዋስው መምህራን በተውነው ነበር። ነገር ግን የወሎ ምድር ታሪክ እንደሚመሰክረው በደበዘዘ ቃል ምክንያት የሰው ሕይወት ይጠፋል። ስለዚህ ጥያቄው የግብረ ገብ ጥያቄ ነው፦ ፍጹም ሐሰት ያልሆነ፣ እውነቱንም የማይናገር ንግግር በደል ነውን?

ሦስት ዐይነት መሸፈኛ

አንዳንድ ሰዎች «ነገርን መሸፈን የባህላችን ጌጥ ነው፤ እኛ የሰምና ወርቅ ልጆች ነን» ብለው ይከራከሩ ይሆናል። ክርክሩ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። የወገል ጤናን አገር ደላንታን የሚያዋስነው ዋድላ፣ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር ከስመ ጥሮቹ የቅኔ ቤቶች አንዱ ሆኖ ለብዙ ዘመን ሊቃውንትን አፍርቷል። ሆኖም ቅኔ የሚሸፍነው እንዲገኝ ነው። ባለ ቅኔው ወርቁን ከሰሙ በታች ሲያኖር አድማጩ ቆፍሮ እንዲያወጣው ይጋብዘዋል፤ ወርቁን የሚያገኝለት ሰው ቢታጣ የመጀመሪያው ሐዘንተኛ ራሱ ነው።

ሁለተኛው መሸፈኛ የርኅራኄ ነው። «ሞተ» በማለት ፈንታ «ዐረፈ» እንላለን፤ የደኸየውን ሰው «እጅ አጠረው» እንለዋለን። መርዶ የሚያረዱ ሽማግሌዎች በማለዳ ተሰብስበው፣ ነገሩን ቀስ በቀስ አቅርበው ይናገራሉ። ይህ ሁሉ ቅስሙ የሚሰበረውን ሰው ለመደገፍ የተሠራ ሥርዓት ነው። ልብ እንበል፤ መርዶ ነጋሪ የቱንም ያህል ቢለሳለስ፣ ሞቱን ሳይናገር ከዚያ ቤት አይወጣም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. አገሪቱን የመታውን ታላቅ ረሃብም ሕዝቡ «ክፉ ቀን» ብሎ ሰየመው። ስያሜው በዘይቤ የተነገረ ነው፤ ነገር ግን አንዳች የደበቀው ነገር የለም። የሰማው ሁሉ ምን እንደ ነበረ ያውቃል።

ሦስተኛው መሸፈኛ ከእነዚህ ይለያል። እንዲገኝ የማይፈልግ፣ የሚጎዳውንም ሰው የማይደግፍ ነው። ስለዚህ አንድን የተሸፈነ ንግግር ለመመርመር የሚያስፈልገን መለኪያ አንድ ነው፦ ሽፋኑ የሚጠብቀው ማንን ነው? ሰሚውን ወይም ተጎጂውን የሚጠብቅ ከሆነ ቅኔ ወይም ርኅራኄ ነው። ተናጋሪውን ከተጠያቂነት የሚጠብቅ ከሆነ ግን ጨዋነት መስሎ የቀረበ ሽሽት ነው።

ወሎ የከፈለው ዋጋ

በ1964 ዓ.ም. የክረምቱ፣ በ1965 ዓ.ም. ደግሞ የበልጉ ዝናብ በመክሸፉ የወሎ ገበሬ ከብቱንና ጥሪቱን ሸጦ ጨረሰ። የተራቡ ሰዎች በደሴ መንገድ ግራና ቀኝ ፈሰሱ። መንግሥት ግን ነገሩን በየጊዜው የሚያጋጥም ተራ ችግር አድርጎ ማቅረብን መረጠ። በሚያዝያ 1965 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያነሷቸው ፎቶግራፎች በግቢው ውስጥ ለእይታ ቀረቡ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው «ያልታወቀው ረሃብ» የተሰኘ ፊልም ለዓለም ታየ። የሟቾቹ ቁጥር ከ40,000 እስከ 200,000 ይገመታል። በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት ያ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር እየተፈራረቀ በአገራችን ቴሌቪዥን ቀረበ፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። በጊዜው ሊነገር ያልቻለው ቃል በመጨረሻ ሲነገር ለሟቾቹ አልደረሰላቸውም፤ ለሥልጣን መለወጫ ግን ዋለ።

የዚያን ረሃብ ምክንያት ያጠናው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፉ ያመለከተው ነገር ለጉዳያችን ትልቅ ፍሬ አለው። እንደ እርሱ ትንታኔ በዚያ ዓመት በመላ ኢትዮጵያ የነበረው የምግብ መጠን እጅግ አልቀነሰም። የወሎ ገበሬ የሚሸጠው ሲያልቅበት የመግዛት ዐቅሙ ስለ ጠፋ፣ ሰው እየሞተ እንኳ ከወሎ ወደ ሌላ ገበያ የተጫነ እህል ነበር። እንግዲያውስ «የምግብ እጥረት» የሚለው ቃል ለስላሳ ብቻ ሳይሆን የተሳሳተም ነበር። የተሳሳተ ስም ደግሞ ወደ ተሳሳተ መድኃኒት ይመራል። «ድርቅ» ስንል ሁላችን ወደ ሰማይ እናንጋጥጣለን፤ ሰማይን የሚከስስ የለም። «ረሃብ» ስንል ግን እህሉ ወዴት እንደ ሄደ፣ ማን እንዳወቀና ማን ዝም እንዳለ መጠየቅ ይመጣል። አንዱን ቃል በሌላው መተካት የሚያስወድደውም ይኸው ነው።

ሥርዓቱ ቢለወጥም ልማዱ አልተለወጠም። በኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች ያለ ፍርድ ሲገደሉ፣ ለሕዝብ የተነገረው «ፖለቲካዊ ውሳኔ» ተብሎ ነው። ከዚያ በኋላ ግድያ «አብዮታዊ እርምጃ» የሚል ስም ወጣለት። በመስከረም 1977 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተፈጥሮን በቁጥጥር ሥር ስለ ማዋል በሚፎክሩ መፈክሮች አጊጣ የአብዮቱን ዐሥረኛ ዓመት ስታከብር፣ በኮረም ሜዳ ሰው በረሃብ ይረግፍ ነበር። ቀጥሎም ከሰሜኑ የአገራችን ክፍል 600,000 ያህል ሰዎች ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ለሰፈራ ተወሰዱ፤ ብዙዎቹ ተገድደው የሄዱ ሆነው ሳለ ይፋዊው ቃል «በፈቃደኝነት» የሚል ነበር። በቅርቡም በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ የተጀመረው ጦርነት «የሕግ ማስከበር ዘመቻ» ተባለ። ዓመት ሳይሞላው ጦርነቱ ላሊበላ ሲደርስ፣ የላስታ ሰው ያየው ነገር ከዚያ ስም ጋር አልተመሳሰለለትም።

ባለቤት የሌለው ግሥ

አማርኛ ለእውነት የተመቸ ቋንቋ ነው። ግሣችን አድራጊውን በውስጡ ይዞ ይሄዳል፤ «ሰረቀች»፣ «ሰረቅን»፣ «ሰረቃችሁ» ብሎ የተናገረ ሰው አድራጊውን ሳያመለክት ሊያልፍ አይችልም። ከዚህ ማምለጥ የሚሻ ሰው ወደ ተደራጊው ግሥ ይሸሻል። «አቅጣጫ ተቀምጧል»፣ «በትኩረት እየተሠራ ነው»፣ «ክፍተቶች ተስተውለዋል»፣ «ወደፊት ይታሰብበታል»። ማን አስቀመጠ? ማን ይሠራል? ማን አስተዋለ? መልስ የለም። የተደራጊ ግሥ መጠቀም በራሱ ነውር አይደለም፤ አድራጊው በማይታወቅበት ጊዜ ተገቢ ነው። ነውሩ የታወቀውን አድራጊ ለመሰወር ሲውል ነው።

ሌላው መንገድ መጥፎውን ነገር በመልካም ስም ማልበስ ነው። ጉቦ «የመልካም አስተዳደር ችግር» ሲባል ክፋቱ ራሱ በመልካምነት ስም ይጠራል። ለብዙ ዓመታት የሕዝብን ሀብት መዝረፍ «ኪራይ ሰብሳቢነት» ይባል ነበር። ቃሉ ከምጣኔ ሀብት ትምህርት የተተረጎመ ነው፤ ተራው ሰው ግን ኪራይ የሚሰበስብ ሲባል የሚታየው ቤቱን አከራይቶ የሚኖር ጎረቤቱ ነው። ሌባውን «ሌባ» ብንለው ሁሉም ያውቀዋል፤ ሌባውም ራሱን ያውቃል። በሴፍቲኔት መርሐ ግብርም እንዲሁ ከዕርዳታ መዝገብ መውጣት «መመረቅ» ይባላል። ራሱን ችሎ ለወጣ ቤተ ሰብ ቃሉ በእውነት የተገባ ነው። ጎተራው ሳይሞላ ስሙ ለተሰረዘበት ሰው ግን ምርቃት በተባለ ቃል በረከት ሳይሆን ጦም ይሰጠዋል፤ «ለምን ተሰረዝኩ?» ብሎ እንዳይጠይቅም አፉን ያስይዘዋል። ተመርቀሃል የተባለ ሰው እንዴት ያጉረመርማል?

ሦስተኛው በታላላቅ ቃላት ማስደንገጥ ነው። «ዘርፈ ብዙ»፣ «ሁለንተናዊ»፣ «ስትራቴጂያዊ»፣ «ባለድርሻ አካላት» የሚሉት ቃላት ቦታ ቦታቸው ላይ ጥቅም አላቸው። ነገር ግን ተከታትለው ሲደረደሩ፣ በልጉ የቀረበት የደላንታ ገበሬ ያልገባው በራሱ አለማወቅ ምክንያት እንደ ሆነ ያስባል። ስለዚህ አይጠይቅም። የተከበረ ሰው ዝም የተባለው በዱላ ሳይሆን በቃል ነው፤ ይህም ክብሩን መንካት ነው።

በደሉ የት ላይ ነው?

ስምንተኛው ትእዛዝ በሐሰት መመስከርን ይከለክላል። ቅዱስ አውግስጢኖስ ስለ ውሸት በጻፈው ድርሰት የውሸትን ባሕርይ ሲመረምር፣ ነገሩ በቃሉ ብቻ ሳይሆን በተናጋሪው ልብ እንደሚመዘን ያስተምራል፤ አንድ ነገር በልቡ ይዞ፣ ለማሳሳት ፈልጎ ሌላ ነገር የሚናገር ሰው ይዋሻል። በዚህ ሚዛን ስናየው እያንዳንዱ ቃል በየራሱ እውነት ሆኖ ሳለ ጠቅላላው ንግግር ሐሰት ሊሆን ይችላል። «የምግብ እጥረት ተስተውሏል» ያለው ሹም እጥረት መኖሩን አልዋሸም። ሰሚው ሰው እየሞተ መሆኑን እንዳያውቅ ፈልጎ ከሆነ ግን መስካሪነቱን ክዷል።

«እውነቱን ሁሉ መናገር የማይቻልበት ጊዜ አለ» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ትክክል ነው። ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለ፤ ለሰው ሕይወት ሲባል ዝም ማለትም አለ። ነገር ግን ዝምታና ድብዝዝ ቃል አንድ አይደሉም። ዝም ያለ ሰው የእውነትን ቦታ ባዶ ይተዋል፤ ሰሚውም ባዶ መሆኑን ዐውቆ ሌላ ቦታ ይጠይቃል። ድብዝዝ ቃል ግን የእውነትን ቦታ ይዞ ይቀመጣል፤ የተነገረ ስለሚመስል የሚጠይቅ ይጠፋል። «ይህን አሁን ልነግራችሁ አልችልም» የሚል ሹም ሐቀኛ ነው። «ቁጥሩ ገና አልታወቀም፤ እስካሁን የመዘገብነው ይህን ያህል ነው» የሚልም እንዲሁ።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት በእምነት ላይ የሚደርሰው ነው። «እየተሠራ ነው» የሚለውን ቃል ለዓመታት ሰምቶ ሥራውን ያላየ ሕዝብ፣ አንድ ቀን ወረርሽኝ ገብቷልና ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ ሲባልም አያምንም። የሕዝብ ቃል እንደ ማኅበር ጎተራ ነው፤ ገለባ የሚከትተው ሰው የሚጎዳው ራሱን ብቻ አይደለም፤ ሁሉም በክፉ ቀን የሚመገብበትን ያጎድላል።

ከቤታችን እንጀምር

ውድ አንባብያን፣ በተለይም የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ ይህ ነገር የሹማምንት ብቻ አይደለም። በየቁምስናችን የሚጻፈው ሪፖርትም «የምእመናንን መንፈሳዊ ዕድገት የሚያጎለብቱ ዘርፈ ብዙ እንቅስቃሴዎች ተካሂደዋል» ሊል ይችላል። ከዚህ ይልቅ ስንት ልጆች ትምህርት ጀመሩ፣ ስንቱ አቋረጡ፣ ያቋረጡትስ ለምን እንደ ሆነ የሚናገር ሁለት መስመር ይበልጣል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው መልእክት፣ በጉባኤ መካከል ማንም በማያስተውለው ቋንቋ ከሚነገር እልፍ ቃል ይልቅ ሌላውን የሚያስተምሩ አምስት ቃላትን መምረጡ ለዚህ ነው። መለከቱ ድምፁን ካልለየ ለጦርነት የሚዘጋጅ እንደማይኖርም በዚያው ስፍራ ያስረዳል።

ስለዚህ ለሕዝብ የሚነገር ወይም የሚጻፍ ነገር ሲኖረን አስቀድመን ራሳችንን እንጠይቅ። ያደረገው ማን ነው? ያደረገው ምንድን ነው? መቼ? ስንት? መልሱን የማናውቅ ከሆነ አለማወቃችንን በግልጽ እንናገር። ከዚያም የመጨረሻውን ጥያቄ እንጨምር፦ ይህን ቃል የመረጥኩት ማንን ለመጠበቅ ነው? የጻፍነውንም ፊደል ላልቆጠሩ አንዲት እናት እናንብብላቸው። «ምን ማለት ነው ልጄ?» ካሉን ጉድለቱ የእሳቸው አይደለም።

በስብሰባም ላይ የማይገባ ቃል ስንሰማ በትሕትና «ይህ በእኛ ቀበሌ ምን ማለት ነው? ማን ይሠራዋል? እስከ መቼ?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት ወይም ዐመፅ አይደለም፤ ለሁሉም የሚደረግ አገልግሎት ነው። ሐቀኛው ሹም በዚህ ጥያቄ ይረዳል እንጂ አይጎዳም።

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። በ1965 ዓ.ም. በሽታው ተሸሸገ፤ መድኃኒቱም ዘገየ። ዛሬ በልግ በሚቀርባቸው ደጋዎቻችን አንድ ቤት እሳት ሳይነድድበት ሲያድር፣ የመጀመሪያው ምጽዋት እህል ከመምጣቱ በፊት የሚሰጥ ነው፤ እርሱም በዚያ ቤት የገባውን ነገር ረሃብ ብሎ መጥራት ነው።