ማክሰኞ ዕለት የት ነበራችሁ?

ልጆቼ፣ ኖቬምበር 4 ቀን 2025 ማክሰኞ ነበር። የምርጫ ጣቢያው በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ማታው አንድ ሰዓት ክፍት ነበር። እኔም ምርኩዜን ይዤ ሄጄ ድምፄን ሰጥቼ ተመለስኩ። ነጠላ የለበሱ እናቶች አይቻለሁ፤ ከሌሊት ሥራ ወጥተው የሥራ ልብሳቸውን ሳያወልቁ የመጡ አባቶች አይቻለሁ። ከእናንተ ግን፣ እዚሁ ተወልዳችሁ ወይም ታዝላችሁ መጥታችሁ እንግሊዝኛውን ከፈረንጁ እኩል ከምትናገሩት፣ አንድ እንኳ ዐይኔ ውስጥ አልገባም። ቀደም ብሎ ድምፁን የሰጠ ካለ ይህ ምክር እሱን አይመለከተውም፤ እግዜር ይስጠው። ማታ በምትሰበሰቡበት ካፌ ደጃፍ ሳልፍ ግን ጢም ብሎ ሞልቷል። አገር ቤት ማን ከሥልጣን መውረድ፣ ማን መውጣት እንዳለበት ስትፈርዱ ጩኸታችሁ መኪና ማቆሚያው ድረስ ይሰማ ነበር።

ለአገራችሁ አትቆርቆሩ አላልኩም። የአዲስ አበባን ሹም ሽር ከነሰዓቱ የሚያውቅ ልጅ የምንኖርባት የክላርክስተን ከተማ ከንቲባን ስም ሲጠየቅ ስልኩን የሚያወጣ ከሆነ ግን ምን ይባላል? ከንቲባውና የከተማው ምክር ቤት የሚመረጡት ጎዶሎ ቁጥር ባለው ዓመት፣ በኖቬምበር ነው። ያኔ ፕሬዚዳንት ስለማይመረጥ ቴሌቪዥኑ አይንጫጫም፤ እናንተም ምርጫ መኖሩን አትሰሙም። በዚያው ማክሰኞ በመላው ጆርጂያ የመብራት ዋጋ የሚወስነው ኮሚሽን ሁለት ወንበሮች ለውድድር ቀርበው ነበር። ኮሚሽኑ አምስት ሰዎች ያሉበት ነው፤ ጆርጂያ ፓወር ዋጋ ልጨምር ሲል እሺ ወይም እምቢ የሚለው እሱ ነው። በበጋ የመብራት ሂሳብ በመጣ ቁጥር ቲክቶክ ላይ የምታማርሩት እናንተ ናችሁ። በዚያ ቀን ሁለት ነባር ኮሚሽነሮች ወድቀው አሊሺያ ጆንሰንና ፒተር ሀባርድ ገቡ። ድግሱ ላይ ሳይገኝ ወጡ ጨው አነሰው የሚል ሰው ታውቃላችሁ? እናንተ ናችሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ስቶን ማውንቴን ትወጣላችሁ፤ ደግ አደረጋችሁ፤ ለጤናም ጥሩ ነው። ቋጥኙ ላይ በፈረስ ተቀምጠው የተቀረጹት ሦስቱ ሰዎች እነማን ናቸው ብዬ አንዱን ጎረምሳ ብጠይቀው፣ «አባባ፣ አንዱ ዋሽንግተን መሰለኝ» አለኝ። ጄፈርሰን ዴቪስ፣ ሮበርት ሊና ስቶንዎል ጃክሰን ናቸው፤ ባርነት እንዳይቀር አገሪቱን ለሁለት ሊከፍሉ የተዋጉት። ቅርጹ ሲጀመር ሲቋረጥ ኖሮ ያለቀው በ1972 ነው። ኩ ክለክስ ክላን የሚባለው ማኅበር ከጠፋበት ተነሥቶ መስቀል ያቃጠለው በ1915 እዚያው ተራራ አናት ላይ ነው። መስቀል! እኛ የምንሳለመውን። ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1963 ዋሽንግተን ላይ ስለ ሕልሙ ሲናገር ይህን ተራራ በስሙ ጠርቶታል። ፎቶ ስትነሡ የቆማችሁበትን እወቁ።

«አባባ፣ አንድ ሰው ድምፅ ሰጠ አልሰጠ ምን ይለውጣል?» ትሉኛላችሁ። ይህችን ንግግር አልወዳትም። በ2020 ጆ ባይደን ጆርጂያ ላይ ዶናልድ ትራምፕን የበለጠው በ11,779 ድምፅ ነው። አምስት ሚሊዮን ያህል ሰው በመረጠበት! ለማን ምረጡ አልላችሁም፤ እሱ የኅሊናችሁ ነው። ምን ይለውጣል ግን አትበሉኝ።

ከዚሁ ከራሳችን ካውንቲ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ከእናንተ መሃል በፍጥነት ወይም በመንጃ ፈቃድ ጉዳይ ዲካልብ ፍርድ ቤት ያልቆመ ጥቂት ነው። በሜይ 1960 ኪንግ ከአላባማ ወደ አትላንታ ከተዛወረ ጥቂት ወራት ሆኖት ነበር። ሊሊያን ስሚዝ የተባለችውን ነጭ ደራሲ፣ ካንሰር ወደምትታከምበት ወደ ኤሞሪ ሆስፒታል በመኪና ሲያደርሳት ዲካልብ ውስጥ ፖሊስ አስቆመው። ጥቁር ወንድና ነጭ ሴት በአንድ መኪና፤ ነገሩ ይኸው ነው። ሰበብ ሲፈለግ መንጃ ፈቃዱ የአላባማ ሆኖ ተገኘ። 25 ዶላር ተቀጣ፤ 12 ወር ፕሮቤሽንም ተጨመረበት።

በኦክቶበር ተማሪዎች አትላንታ መሃል ሪች በሚባለው ትልቅ መደብር፣ ጥቁር በማያስተናግደው ምግብ ቤት ተቀምጠው አንነሣም አሉ። ኪንግም አብሯቸው ታሰረ። ተማሪዎቹ ሲለቀቁ እሱን ዲካልብ ተረከበው። ዳኛ ኦስካር ሚቼል ፕሮቤሽንህን ጥሰሃል ብሎ አራት ወር ከባድ የጉልበት ሥራ ፈረደበት። ለመንጃ ፈቃድ፣ አራት ወር! በሌሊት ከክፍሉ አውጥተው፣ በሰንሰለት አስረው፣ ሩቅ ወደሆነው ሪድስቪል እስር ቤት ወሰዱት። ሚስቱ ኮሬታ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ በሕይወት መመለሱን አታውቅም።

ጊዜው ጆን ኬኔዲና ሪቻርድ ኒክሰን የሚፎካከሩበት ሰሞን ነው። ሀሪስ ዎፈርድ የሚባል የኬኔዲ አማካሪ፣ ለኮሬታ ይደወልላት የሚል ሐሳብ አመጣ። ኬኔዲ ደውሎ አጽናናት። ወንድሙ ሮበርት ደግሞ ለዳኛው ደወለ። ኪንግ ተፈታ። የኪንግ አባት፣ እሳቸውም ቄስ፣ ኒክሰንን ሊመርጡ አስበው ነበር፤ ልጃቸው ሲፈታ ሐሳባቸውን ለወጡ። እነ ዎፈርድ ታሪኩን በትንሽ ሰማያዊ ወረቀት አሳትመው ከምርጫው በፊት በነበረው እሑድ በየጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አደሉት። ኬኔዲ በመላ አገሪቱ ያገኘው ብልጫ 68 ሚሊዮን ያህል ድምፅ ከተሰጠበት 120 ሺህ እንኳ አይሞላም። ያን ወረቀት ተቀብለው ከቅዳሴ የወጡት ሰዎች ብዙዎቹ ከእናንተ ያነሰ የተማሩ ነበሩ።

ይህ ዎፈርድ እኛንም ነክቶናል። በ1962 ወደ 300 የሚጠጉ የሰላም ጓድ መምህራንን እየመራ አዲስ አበባ የመጣው እሱ ነው። እኔን ደሴ፣ ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ካስተማሩኝ አንዱ ከእነዚያ ልጆች መሃል ነበር። ኬኔዲ የተገደለ ዕለት በእኛ ኅዳር 12 ቀን 1956 ነው፤ ኅዳር ሚካኤል። ከተማው ሲታጠን ውሎ ጭሱ ገና ሰፈሩ ላይ ሳለ ሬዲዮ ያላቸው ሰዎች ወሬውን ሰሙ። ጃንሆይ ከወር በፊት ዋሽንግተን ላይ የኬኔዲ እንግዳ ነበሩ፤ ለቀብሩም ተመልሰው ሄዱ።

በማግስቱ እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጎረቤቶቿን አስከትላ መምህሬ ቤት ለቅሶ ደረሰች። ያ ልጅ ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ በሩን ከፍቶ ደጁ ላይ የቆሙትን ሴቶች ሲያይ ምን እንደሚያደርግ ጠፋው። ወንበሩ ሁለት ነበር። እናቴ «እግዜር ያጥናህ ልጄ» ብላ መሬት ተቀመጠች፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ንፍሮ በሰፌድ መጣ፣ ቡና ተፈላ። ልጁ ንፍሮውን በእፍኙ እንደያዘ፣ ሳይቀምሰው፣ አለቀሰ። እናቴ አሜሪካ በየት በኩል እንዳለች አታውቅም። ኬኔዲንም ያየችው ሻይ ቤት በተለጠፈ ፎቶ ነው። አገሩ ርቆት የመጣ የሰው ልጅ አባወራ እንደሞተበት ገባት፤ በቃ። አሁንም ኬኔዲ ሲባል የሚመጣብኝ የዚያ ንፍሮ ሽታ ነው። 

እናቴ በዕድሜዋ አንድ ቀን መሪ ሳትመርጥ ሞተች። የእናንተ መብት ግን ኪሳችሁ ውስጥ ነው፤ ቃል በቃል ኪሳችሁ ውስጥ። ከ2016 ጀምሮ ጆርጂያ ውስጥ ዜጋ የሆነ ሰው መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ አልፈልግም ካላለ በቀር ለምርጫም ይመዘገባል። ኪንግ በሰንሰለት የታሰረላት ያቺ ካርድ ናት። ዜጋ ያልሆናችሁ ግን፣ ግሪን ካርድ ቢኖራችሁም፣ ቅጹን በጥንቃቄ ሙሉ፤ በስሕተት ድምፅ የሰጠ ሰው ከአገር ሊባረር ይችላል። ለአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ድምፅ በመስጠት ጆርጂያ ከሁሉ ቀድማለች፣ በ1943፤ አገሪቱ በሙሉ የተከተለችው በ1971 ነው። ለመምረጥ መብት የታገሉትም ወጣቶች ነበሩ። ዲኬተር አደባባይ ሄዳችሁ የጆን ሉዊስን ሐውልት እዩ። በማርች 1965 ሰልማ ድልድይ ላይ ጭንቅላቱን ሲፈነክቱት 25 ዓመቱ ነበር፤ የምርጫ መብት ሕጉ በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ተፈረመ። ሐውልቱ በ2024 የቆመው ለባሪያ አሳዳሪዎቹ ጦር መታሰቢያ ድንጋይ ተተክሎ በነበረበት ቦታ ነው።

ጂሚ ካርተርንስ ታውቋቸዋላችሁ? የእኛው የጆርጂያ ሰው፣ የፕሌይንስ ኦቾሎኒ ገበሬ። ደርግን በሰብዓዊ መብት ጥሰት ወቅሰው በ1977 የጦር ዕርዳታ የቆረጡ ናቸው። በማርች 1980 የፈረሙት የስደተኞች ሕግ ነው ከሱዳን መጠለያ የብዙዎቻችሁን ወላጆች ያወጣው፤ ክላርክስተንንም ክላርክስተን ያደረገው። በ1989 የደርግን መንግሥትና ሻዕቢያን አትላንታ ላይ፣ በራሳቸው ማዕከል፣ ለድርድር አስቀምጠዋል። ድርድሩ አልሰመረም፤ ቢሆንም ሞከሩ። መቶ ዓመት ሞልቷቸው፣ አልጋ ላይ ሆነው፣ ከመሞታቸው ሁለት ወር ያህል በፊት በኦክቶበር 2024 ድምፃቸውን ሰጡ። መቶ ዓመት! እናንተ «ሺፍት ነበረብኝ» ትላላችሁ። ከምርጫው ቀን በፊት ሦስት ሳምንት ያህል፣ ቅዳሜም ጭምር፣ ቀድሞ መምረጥ ይቻላል። ያ ካርተር ለስደተኞች የከፈቱት በር ደግሞ በጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ትራምፕ ሥልጣን በያዙበት ቀን በአንድ ፊርማ ታገደ። ያስገባንም የተመረጠ ሰው ነው፣ የዘጋውም የተመረጠ ሰው ነው። ዘመዱ ኬንያ ወይም ሱዳን ወረፋ ሲጠብቅ የቀረበት ከመሃላችሁ አለ። ምን ይለውጣል?

ሌላው ሰበባችሁ ፖለቲካ ቆሻሻ ነው፣ ክርስቲያን አይነካካውም የሚል ነው። ኪንግ ቄስ ነበር፤ ዛሬ የእሱ ቤተ ክርስቲያን የኤቤኔዘር መጋቢ ራፋኤል ዋርኖክ የጆርጂያ ሴናተር ናቸው። እኛስ በየቅዳሴው ለመሪዎች እንጸልይ የለም? እንግዲህ የምትጸልዩለትን ሰው ስም እንኳ እወቁ።

የጁሪ መጥሪያ ሲመጣ ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉ።  እናቶቻችሁ ደብዳቤ ይዘው ሲመጡ እየተነጫነጫችሁ አትተርጉሙ። ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ የሚያጠኑትን አሮጊቶች አይታችኋል? ስልሳ አምስት ዓመት ያለፋቸው፣ ሃያ ዓመት በግሪን ካርድ የኖሩት ናቸው፤ ለዜግነት ፈተና ሃያ ጥያቄ ተለይቶ ይሰጣቸዋል፣ በአማርኛም ይፈተናሉ። አንዷ እናት በልጅ ልጃቸው ደብተር ላይ ጥያቄዎቹን በትልልቅ ፊደል አስጽፈው፣ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ፣ ምክር ቤቱ ስንት ክፍል እንዳለው ይሸመድዳሉ። ደብተሩን የሰጠው ልጅ መልሱን አያውቅም፤ ጠይቄዋለሁ። እሳቸው ሲማሉ በመጀመሪያው ምርጫ ይሰለፋሉ። እሱ ግን ከተወለደ ጀምሮ ዜጋ ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የዲካልብ የስቴት ፍርድ ቤትና የሱፒሪየር ፍርድ ቤት ዳኞች የሚመረጡት በሜይ ነው፤ ሰው ሁሉ ስለ ዕረፍት በሚያስብበት ሰሞን። ኦስካር ሚቼል ተቀምጦ በነበረበት ካውንቲ ማን እንደሚቀመጥ የሚወስኑት ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ እናንተ በሌላችሁበት። የ2026ቱ ምርጫ ሜይ 19 ቀን ነው፤ ማክሰኞ። ከዚያ በፊት ባለው እሑድ ሁሉ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ እቀመጣለሁ። መንጃ ፈቃዳችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ስማችሁ በመዝገቡ መኖር አለመኖሩን በስልካችሁ ከፍታችሁ አሳዩኝ፤ የኔ ዐይን ትንሹን ፊደል አያነብም። ወንበሩ ለአሮጊቶቹ ነው፤ እናንተ ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ።