የሆድ ምስክርነት

ገበታ ላይ «ጾም ላይ ነኝ» ያለን ሰው ማንም አይመረምረውም። ሥጋው ይነሳለታል፣ ሽሮው ይቀርብለታል፣ ነገሩ አለቀ። እዚያው ገበታ ላይ «ሽንኩርት አይስማማኝም» ያለ ግን ችሎት ይሰየምበታል። ከመቼ ጀምሮ? ሐኪም ነግሮህ ነው? ድሮ ትበላ አልነበር እንዴ? መጨረሻው ሁሌም አንድ ነው፦ «እስቲ ትንሽ ቅመሳት፣ ምንም አትልህም!» የጿሚው ምክንያት የብዙ ሰው ስለሆነ ማስረጃ አይጠየቅበትም። የዚህኛው ምክንያት ግን ያለው በአንድ ሰው ሆድ ውስጥ ነው፤ እዚያ ገብቶ የሚያይለት ምስክር የለውም።

«ሽንኩርት አይስማማኝም» የሚል ሰው በአንድ ንግግር ሁለት ነገር ይላል። አንደኛው «ስበላው ያመኛል» ነው። በዚህ ማንም ሊከራከረው አይችልም፤ ሆዴ መነፋቱን፣ ሌሊቱን ቃር ሲያቃጥለኝ ማደሩን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ሁለተኛው «ያመመኝ ሽንኩርቱ ነው» የሚለው ነው። ይህ ስለ ሕመሙ መንስኤ የተሰጠ ፍርድ ነው፤ ፍርድ ደግሞ ይሳሳታል። ጋባዡ የመጀመሪያውን ሲጠራጠር እንግዳውን ይበድላል። እንግዳው በበኩሉ ስለ ሕመሙ ያለው እርግጠኝነት ለመንስኤውም የሚተርፍ ሲመስለው ራሱን ያታልላል።

እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የኦስሎ ጥናት ይህን በደንብ ያሳያል። ተሳታፊዎቹ 59 ነበሩ፤ ሴሊያክ የሚባለው የአንጀት በሽታ የሌለባቸው፣ ነገር ግን ስንዴ ስላስቸገራቸው በውስጡ ያለውን ግሉተን የተባለ ፕሮቲን በራሳቸው ውሳኔ የተዉ ሰዎች። በየተራ ለሰባት ለሰባት ቀን እንደ ብስኩት ያለ የእህል ቁራሽ ተሰጣቸው። አንዱ ግሉተን ያለበት፣ አንዱ ፍሩክታን ያለበት፣ ሦስተኛው ሁለቱም የሌሉበት ነው፤ የትኛውን እየበሉ እንደሆነ ግን አልተነገራቸውም። ክፉኛ ያመማቸው 13ቱን በግሉተኑ፣ 24ቱን በፍሩክታኑ፣ 22ቱን ደግሞ ምንም በሌለበት ሳምንት ነበር። ፍሩክታን ስንዴ ውስጥ ያለ የስኳር ዘር ነው፤ ሰውነታችን ስለማይፈጨው ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎች ያብላሉትና ጋዝ ይሆናል። ስለዚህ ብዙዎቹ ስንዴ ያመናል ማለታቸው እውነት ሊሆን ይችላል፣ የወነጀሉት ግን ሌላውን ነው። ስለ 22ቱ ሰዎች ብዙ አስቤያለሁ። ውሸታሞች የሚላቸው ይኖር ይሆናል፤ እኔ አልልም። ሕመሙ ሕመም ነው፤ ከስጋትም ይምጣ፣ እንዲሁ በራሱ ከሚለዋወጠው የሆድ ጠባይም።

ፍሩክታን በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርትም ውስጥ ሞልቷል። ይህን ይዘን ወደ ጓዳችን እንግባ። ወጥ የሚጀመረው በቁሌት ነው፦ ቀይ ሽንኩርት ደቆ ይከተፋል፣ ድስት ውስጥ ያለ ዘይት ውሃውን እስኪጨርስ ይቁላላል፣ ከዚያ ዘይቱ፣ በርበሬው፣ ነጭ ሽንኩርቱ ይከተላሉ። ባለሙያ የምትመሰገነው ሽንኩርቱ ድስቱ ውስጥ ሟሙቶ ዱካው ሲጠፋ ነው። በርበሬውና ሽሮውም ገና ሲዘጋጁ ነጭ ሽንኩርት ገብቶባቸዋል። እንግዲህ ዳቦ ትቶ በጤፍ እንጀራ ምስር ወጥ የሚበላው ሰው፣ ከስንዴው ቢሸሽም ከፍሩክታኑ ጋር አብሮ ነው የሚኖረው። «ሽንኩርቱን ለቅመህ አውጣው» የሚለው ምክርም ሰላጣ ላይ ይሠራ ይሆናል፤ ወጥ ላይ ምን ተለቅሞ ይወጣል?

በተቃራኒው ያለ ምክንያት የሚቀር ምግብም አለ። በወተት ውስጥ ያለው ላክቶስ የሚያስቸግረው ሰው ንጥር ቅቤን መፍራት የለበትም፤ ላክቶሱ ከሞላ ጎደል በማንጠሩ ሄዷል። እርጎውም ሲረጋ የተወሰነውን ላክቶስ ስለሚያጣ ብዙዎች ይችሉታል። የወተት ፕሮቲን አለርጂ ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ ላይ «ትንሽ ቅመሳት» የምትለዋ ቃል ሰው ልትገድል ትችላለች።

በአውስትራሊያ የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያዘጋጁት፣ ፎድማፕ በመባል የሚታወቀው የአመጋገብ ዘዴ ሦስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ሆድ የሚነፉት ምግቦች ለጥቂት ሳምንታት ይቀራሉ፤ ቀጥሎ አንድ በአንድ እየተመለሱ ይፈተናሉ፤ በመጨረሻ ሰውየው የማይችለውን ብቻ ትቶ ሌላውን ይበላል። ብዙ ሰው የመጀመሪያው ላይ ይቀራል። ገባኝ፤ ደህና ውሎ ያደረ ሆድን እንደገና መነካካት ማን ይፈልጋል! ዘዴውን የግል የሚያደርገው ግን መፈተኑ ነው። ያለ ፈተና የቀረው ዝርዝር የማንም ሰው ዝርዝር ነው። በደም ውስጥ ያለውን አይጂጂ የተባለ ፀረ እንግዳ አካል ለክተው «የማይስማሙህ ምግቦች እነዚህ ናቸው» የሚሉ ምርመራዎች የሚሸጡትም ይህን ድካም እናስቀርልሃለን በማለት ይመስለኛል። የአለርጂ ሐኪሞች ማኅበራት አይመክሩትም፤ አይጂጂ በአመዛኙ የሚናገረው ምግቡን መብላትህን ነውና። ወረቀቱ ግን ያጓጓል፤ ምስክር አልባው ሆድ በመጨረሻ ማኅተም ያለው ማስረጃ አገኘ።

የሆድ ምስክርነት አንዳንዴ ሳይንሱን ራሱን ይቀድማል። ሴሊያክ ያለባቸው ሕፃናት በሙዝ ሲታከሙ በኖሩበት ዘመን፣ ኔዘርላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ቪለም ዲከ ጥፋተኛው ስንዴ ነው ብሎ ጠረጠረ። እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 በዘለቀው የረሃብ ክረምት አገሩ ዳቦ ሲያጣ በሕፃናቱ ላይ የተመለከተው ነገር ጥርጣሬውን አጠናከረለት፤ እሱ ግን እዚያ አልቆመም። ስንዴን ከሕፃናቱ ምግብ እያወጣና እየመለሰ ፈትኖ በ1950 የዶክትሬት ጽሑፉን አቀረበ። ዛሬ ሴሊያክን የሚጠራጠር ሰው ስንዴውን ከመተዉ በፊት መመርመር አለበት፤ ከተወው በኋላ የደም ምርመራው ሊያሳስት ይችላል።

ምርመራው ካለቀም በኋላ ሌላ ሰው ማመን ግድ ነው። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚሸጠው እንጀራ ግን ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይም ገብስ የተቀላቀለበት ነው። ሴሊያክ ያለባት ሴት የቱንም ያህል ሆዷን ብታውቅ የሊጡን ነገር የምታውቀው ከጋጋሪዋ አፍ ነው። ቤቱ የጠራት ጋባዥም «ለመሆኑ ምን ሆነሽ ነው?» ከሚላት ይልቅ «ትንሹም ይጎዳሻል ወይስ ሲበዛ ነው?» ቢላት ይሻላል። ትንሹም ከሆነ ምጣዱም ማማሰያውም ይለይላት። ሲበዛ ብቻ የሚያማት እንግዳ ከሆነች ግን የሚያስቸግራት ወጥ ከፊቷ ራቅ ተደርጎ ይጨለፍ፣ እሷም ከዚያው ትሪ ትብላ።