ሦስት ቀን በሮማ፦ ማየትና ማስተዋል

አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲመኛት የኖረችውን ከተማ የሚያይበት ሦስት ቀን ብቻ ቢያገኝ፣ እነዚያን ቀኖች እንዴት ሊያውላቸው ይገባል? ጥያቄው ሲሰማ የመንገደኛ እንጂ የሥነ ምግባር ጥያቄ አይመስልም። የቲኬት ዋጋን፣ ማደሪያንና የሚጐበኙ ስፍራዎችን ዝርዝር የሚመለከት ተራ ጉዳይ ይመስላል። ይሁን እንጂ ጊዜያችንን፣ ገንዘባችንንና ዓይናችንን በምን ላይ እናውል የሚል ምርጫ ባለበት ሁሉ ስለ መልካምና ስለ ክፉ፣ ስለሚበልጥና ስለሚያንስ መጠየቅ ግድ ይሆናል።

ጥያቄው ዛሬ የጥቂቶች ብቻ አይደለም። በ2025 በተከበረው የኢዮቤልዩ ዓመት ከየአገሩ እጅግ ብዙ ምእመናን ወደ ሮማ ተጉዘዋል። በልዩ ልዩ የአውሮፓ ከተሞች በሥራና በትምህርት የሚኖሩ ወገኖቻችንም ጥቂት የዕረፍት ቀን ሲያገኙ ወደዚያ ብቅ ይላሉ። ስለዚህ ሮማን ምሳሌ አድርገን ነገሩን እንመርምር። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዝርዝሩ ፈተና

ለጉዞ የሚሰናዳ ሰው በመጀመሪያ የሚያደርገው ዝርዝር መጻፍ ነው። ስለ ሮማ የሚጻፍ ዝርዝር ደግሞ ማለቂያ የለውም። በ80 የተመረቀው ኮሎሴዎም አለ። በንጉሠ ነገሥት ሐድርያኖስ ዘመን ተሠርቶ በ609 ቤተ ክርስቲያን የሆነው ፓንቴዎን አለ። በ1506 ተጀምሮ በ1626 የተባረከው የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ አለ። የቫቲካን ቤተ መዘክሮች መተላለፊያዎች ብቻቸውን ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማሉ። ይህ ሁሉ በሦስት ቀን ውስጥ ይግባ ከተባለ ለያንዳንዱ ስፍራ የሚደርሰው ጥቂት ሰዓት፣ አንዳንዴም ጥቂት ደቂቃ ነው። አባቶቻችን «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ፤ እንዲህ ያለው ተጓዥ ግን ያፈሰሰውን ለመልቀም እንኳ ጊዜ አይተርፈውም።

የሲስቲና ጸሎት ቤትን እንመልከት። ሚኬላንጄሎ ጣራውን ለመሣል ከ1508 እስከ 1512 ደክሟል፤ በመሠዊያው በኩል ያለውን የመጨረሻውን ፍርድ ሥዕል ደግሞ ከ1536 እስከ 1541 ሠርቷል። በ2019 ከስድስት ሚሊዮን በላይ ሰዎች የቫቲካንን ቤተ መዘክሮች ጐብኝተዋል። ከእነዚህ ስንቱ ከፍጥረት ታሪክ አንዱን ክፍል እንኳ በጸጥታ ተመለከተ? ብዙው በሕዝቡ ተገፍቶ ገብቶ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ተገፍቶ ይወጣል። ከዚያም «አይቼዋለሁ» ይላል። ቃሉ ሐሰት አይደለም፤ እውነት ነው ለማለት ግን ያስቸግራል።

ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ በ«ሱማ ቴዎሎጂካ» ለዚህ ጉዳይ የሚረዳ ልዩነት አስቀምጧል። ለማወቅ በሥርዓት መትጋትን ራስን ከመግዛት ጋር የሚሄድ ምግባር ያደርገዋል፤ ሥርዓት የሌለውን የማየትና የማወቅ ጉጉት ግን እንደ ጉድለት ይቆጥረዋል። ማወቅ በራሱ መልካም መሆኑን አይክድም። ጥያቄው ምኞቱ ወዴት እንደሚያመራ ነው። ከእርሱ አስቀድሞ ቅዱስ አጎስጢኖስ በ«ኑዛዜ» መጽሐፉ 10ኛ ክፍል ስለ ዓይን አምሮት ሲጽፍ፣ ይህ ፈተና የዕውቀትን ስም ለብሶ እንደሚመጣ አስተውሎ ነበር። ማንም ሰው ስለ ሆዳምነቱ ሲመካ አይሰማም፤ በሦስት ቀን ሠላሳ ስፍራ መጐብኘቱን ግን በኩራት የሚናገር ብዙ ነው።

የጥንት ተሳላሚዎች ሥርዓት

የጉዞ ዕቅድ የዘመናችን ፈጠራ አይደለም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቦኒፋስዮስ 8ኛ በ1300 ኢዮቤልዩ ባወጁ ጊዜ፣ የቅዱስ ጴጥሮስንና የቅዱስ ጳውሎስን ባዚሊካዎች የሮማ ነዋሪ 30 ቀን፣ ከውጭ የመጣው ደግሞ 15 ቀን እንዲሳለም ደንግገው ነበር። ዛሬ በአንድ ቀን «የሚጨረሱትን» ሁለት ስፍራዎች እንግዳው ዐሥራ አምስት ጊዜ እንዲመለስባቸው ተጠየቀ። ነዋሪው ደግሞ የእጥፉን ያህል ተጠየቀ። ከዚህ ሥርዓት የምንማረው አለ፤ ዘወትር የሚያዩትን ነገር በእውነት ለማየት ከእንግዳ ይልቅ ነዋሪው መድከም ያስፈልገዋል።

በ16ኛው ምዕት ዓመት ቅዱስ ፊሊጶስ ኔሪ ሕዝቡን እየመራ ሰባቱን አብያተ ክርስቲያናት ያሳልም ነበር። መንገዱ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ሰዎቹ በእግር እየሄዱ ይዘምሩ፣ ይጸልዩ፣ አብረውም ምግብ ይቀምሱ ነበር። እዚህ ላይ «ሰባት ስፍራ በአንድ ጉዞ መሳለም ብዙ አይደለምን?» የሚል ይኖር ይሆናል። መልሱ ነገራችንን ያብራራዋል። ጉዞን የሚያበላሸው የስፍራዎቹ ብዛት ብቻ አይደለም፤ የሚያያይዛቸው ክር መጥፋቱ ነው። የፊሊጶስ ተከታዮች ሰባቱን ስፍራ በአንድ አሳብ ስለሄዱ ጉዟቸው አንድ ነበር። የዛሬው ጐብኚ ሦስት ስፍራ ብቻ አይቶም ሦስት የማይገናኙ ፎቶግራፎችን ይዞ ሊመለስ ይችላል።

ዓይን ብቻውን አያይም

በ2023 በጋ አንድ ጐብኚ በኮሎሴዎም ግድግዳ ላይ የራሱንና የወዳጁን ስም በቁልፍ ሲቀርጽ ታየ። በኋላ በጻፈው የይቅርታ ደብዳቤ የሕንፃውን ጥንታዊነት የተረዳው ከድርጊቱ በኋላ መሆኑን ገለጸ። ብዙዎች ሣቁበት። ነገር ግን ሰውየው በዓለም ከታወቁት ሕንፃዎች በአንዱ ፊት ቆሞ፣ በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ዳስሶ፣ ምን እንዳየ አላወቀም። ለጉዞው ተሰናድቶ ነበር፤ ለማየት ግን አልተሰናዳም።

ተቃራኒውን ለማሳየት ከናቮና አደባባይ አጠገብ ወዳለው ወደ ቅዱስ ሉዊጂ ዘፈረንሳውያን ቤተ ክርስቲያን እንግባ። መግቢያው ያለ ክፍያ ነው። በአንድ ጐን ጸሎት ቤት ውስጥ ካራቫጆ በ1599 እና በ1600 የሣለው የማቴዎስ መጠራት ይገኛል። በጨለማ ክፍል ውስጥ ሰዎች ገንዘብ ከተዘረጋበት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። ጌታ ከቀኝ በኩል ገብቶ እጁን ዘርግቷል፤ ብርሃኑም ከእርሱ ወገን ይመጣል። አንዱ ሰው ቀና ብሎ በጣቱ ያመለክታል፤ አንድ ወጣት ግን ዓይኑን ከገንዘቡ አላነሣም። የማቴዎስን ወንጌል 9ኛ ምዕራፍ ለዓመታት ሲያስተምር የኖረ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር በዚህ ሥዕል ፊት ቢቆም፣ ከማንኛውም የጉብኝት መጽሐፍ የበለጠ ስንቅ ይዞ ቆሟል። የተጠራው ማን ነው? ያ ያላየውስ? ግማሽ ሰዓት ለዚህ ቢሰጥ አይበዛም።

ለኢትዮጵያዊ ጐብኚ ከዚህም የጠለቀ ምሳሌ አለ። ከጥንቱ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ጫፍ የፖርታ ካፔና አደባባይ ይገኛል። በ1937 ከአክሱም የተወሰደው ሐውልት በዚያ ቆሞ ነበር፤ ኋላ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት በሆነው ሕንፃ ፊት ማለት ነው። ኢጣልያ በ1947 በተፈረመው የሰላም ውል ልትመልሰው ተስማምታ ሳለ፣ ወደ አገሩ የተመለሰው ግን በ2005 ነው፤ በአክሱምም በ2008 ዳግመኛ ቆመ። ዛሬ በፖርታ ካፔና ሐውልቱ የለም። መኪናዎች ይተላለፋሉ፤ ታሪኩን የማያውቅ ጐብኚም ሳያስተውለው ያልፋል። የሚያውቅ ግን በዚያ ቦታ ላይ ግፍን፣ የተፈረመን ቃል ለማክበር የወሰደውን የ58 ዓመት መዘግየት፣ በመጨረሻም የቀናውን ፍትሕ ያያል። በሮማ ካሉት 13 ጥንታውያን ሐውልቶች ይልቅ የሌለው ሐውልት ብዙ የሚነግረው ሰው አለ።

ከዚህ መራራ ታሪክ ጐን ሌላም አለ። ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ በስተጀርባ የቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ቆማለች፤ በ15ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ለኢትዮጵያውያን መነኰሳት መጠጊያ ሆና ተሰጠች። አባ ተስፋ ጽዮን በሮማ ሳሉ በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ አሳተሙ። እኒህ መነኵሴ በእንግድነት በቆዩባት ከተማ የማተሚያውን ጥበብ አይተው ብቻ አላለፉም፤ ለአገራቸው ምን እንደሚጠቅም አስተውለው ሠሩበት።

«ተመልሼ የማልመጣ ነኝ»

እስካሁን በተባለው ላይ ከባድ መቃወሚያ ሊነሣ ይችላል። «ገንዘቡን ለዓመታት ያጠራቀምሁት በልፋቴ ነው። ዳግመኛ ወደዚህ ለመምጣት ተስፋ የለኝም። በአንድ ሥዕል ፊት ግማሽ ሰዓት ቁም ማለት ሁልጊዜ መመላለስ ለሚችል ባለጸጋ የሚሆን ምክር ነው።» ይህን የሚለውን ሰው ልንንቀው አይገባም። ድካሙ እውነተኛ ነው፤ ፍርሃቱም ይገባናል።

ነገር ግን ተመልሶ አለመምጣት ሦስቱን ቀን አራት አያደርጋቸውም። ከሩቅ አገር መጥቶ እናቱን ለሦስት ቀን ብቻ የሚያይ ልጅ ቀኖቹን የቤቱን ጓዳ በመቍጠር አይፈጅም፤ አጠገቧ ይቀመጣል። ጊዜው ማጠሩ ራሱ እንዲቀመጥ ያስገድደዋል። ስለዚህ ዳግመኛ የማይመጣ ሰው ከሁሉ ይልቅ መምረጥ ያስፈልገዋል። መምረጥም መተው ነው። ያልታየው እንደ ጠፋ አይቈጠር፤ በእኛ ባይታይም በስፍራው አለ፤ ሌሎችም ያዩታል። ይህን በደስታ መቀበል ትንሽ የትሕትና ትምህርት ነው።

ስለ ገንዘቡም አንድ ቃል እንጨምር። ዘመድ በተቸገረበት ጊዜ ለማየት ብሎ ገንዘብ ማውጣት ይገባልን? ለውበትና ለዕውቀት የሚወጣ ወጪ ሁሉ ከድኻ የተነጠቀ አይደለም፤ ልክ ሳይበጁለት የሚወጣ ግን በቀላሉ እንዲያ ይሆናል። ስለዚህ ተጓዡ ከቤቱ ሳይወጣ የሚያወጣውን መጠን ይወስን፤ በቤቱ ለቀሩትም ድርሻቸውን አስቀድሞ ይለይ። በትሬቪ ምንጭ ውስጥ ጐብኚዎች የሚጥሉት ሳንቲም ተሰብስቦ ለሮማ ካሪታስ፣ በእርሱም በኩል ለችግረኞች እርዳታ እንደሚሰጥ ማወቅ ደስ ያሰኛል። ይሁንና ለድኻ የሚገባው ድርሻ ለጨዋታ ከተጣለ ሳንቲም የተሻለ አሳብ ይፈልጋል።

ለዕቅድ የሚረዳ ሥርዓት

እንግዲህ ሦስት ቀን ያለው ሰው እንዲህ ሊያቅድ ይችላል። አስቀድሞ አንድ ክር ይምረጥ። ለምሳሌ የሐዋርያትን ፈለግ ከመረጠ አንዱን ቀን ለቅዱስ ጴጥሮስ፣ አንዱን ከከተማው ቅጥር ውጭ ላለው ለቅዱስ ጳውሎስ ባዚሊካ ይስጥ። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ዋና ስፍራ ይበቃል፤ ሌላው በመንገድ ላይ በእግር ሲያልፉ የሚገኝ ይሁን። ሦስተኛውን ቀን ያለ ቲኬት ይተወው፤ ወደ ወደደው ስፍራ ዳግመኛ ይመለስበት፤ ወይም እንደ ፖርታ ካፔና ያለውን በዝርዝር የማይገባ ቦታ ይፈልግበት።

ጥቃቅን የሚመስሉትን ነገሮችም አይናቅ። የቫቲካን ቤተ መዘክሮች ከወሩ የመጨረሻ እሑድ በቀር እሑድ ዝግ ናቸው። ለእነርሱም ሆነ ለኮሎሴዎም ቲኬት አስቀድሞ መያዝ ሰልፍን ያቀላል። ብዙ አብያተ ክርስቲያናት በቀትር ይዘጋሉ፤ ትከሻንና ጉልበትን የሚሸፍን ልብስም ይጠይቃሉ። በየመንገዱ ንጹሕ ውሃ ያለ ዋጋ የሚወርድባቸው ምንጮች ስላሉ ውሃ መግዛት አያስፈልግም። ከሁሉ በላይ አብሮ የሚጓዘው ሰው አቅም ይታሰብ። እናቱን ይዞ የሄደ ልጅ በድንጋይ ንጣፍ ላይ እያቻኰለ ቢያደክማት ሮማን አሳያት አይባልም። ከተማይቱም የሰዎች መኖሪያ ናት። በደረጃው ላይ የሚበላና የሚያቆሽሽ፣ በጸሎት ላይ ባሉ ሰዎች ፊት ፎቶግራፍ የሚያነሣ እንግዳ የአስተናጋጆቹን ቤት ረስቷል።

ከአንባብያን ብዙዎቹ ሮማን ላያዩ ይችላሉ። ይህ ምግባር ግን ለመለማመድ ቲኬት አያሻውም። በየቁምስናችን ከልጅነታችን ጀምሮ ያየነው፣ ነገር ግን አንድ ቀን እንኳ ቆመን ያልተመለከትነው ሥዕል አለ። በእርሱ ላይ የተሣሉት ቅዱሳን እነማን ናቸው? በእጃቸው የያዙትስ ምንድን ነው? ማን አሣለው? ለምን? የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በሚመጣው ሳምንት ልጆቹን በዚያ ሥዕል ፊት ያቁሙአቸው፤ ለሩብ ሰዓት ዝም ብለው እንዲያዩ ያድርጉ፤ ከዚያም ያዩትን ይጠይቋቸው። ከእነዚያ ልጆች አንዱ ምናልባት አንድ ቀን ሦስት ቀን ብቻ ይዞ ወደ ሮማ ይሄድ ይሆናል።