ስለ መያዝ

ሕፃናት የሚጫወቱትን ጨዋታ ሽማግሎች በሁለት ዐይን ሲያዩት ኖረዋል፤ አንዱ ዐይን የራሳቸውን ልጅነት ያስታውሳቸዋልና ይስቃል፥ ሁለተኛው ግን የጊዜውን መባከን ያያልና ይቈጣል። በመንዝ፥ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ በግ ሲጠብቅ የሚውል ልጅ መሬቱን ጐድጕዶ፥ ጠጠር ለቅሞ ገበጣ ሲጫወት በጎቹ ከሰው ገብስ የገቡ እንደ ሆነ አባቱ ይገርፈዋል፤ የሚገርፈውም ስለ ገበጣው ሳይሆን ስለ ገብሱ ነው። በልደት በዓልም ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ገና ሲጫወቱ የሎሌው ዱላ የጌታውን ቅልጥም ቢያገኘው ቍጣ የለም። እንግዲያስ አባቶች ጨዋታን በጨዋታነቱ አልነቀፉትም፤ የነቀፉት በጨዋታው ምክንያት ሳይጠበቅ የቀረውን ነገር ነው።

ዛሬ ስልክ ወደ ደጋው ከወጣ ወዲህ በመሐል ሜዳም ሆነ በዓለም ከተማ ልጅ አንገቱን ደፍቶ በመስተዋት ላይ ጣቱን ሲያመላልስ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። የዚህ ጨዋታ ዐይነቱ ብዙ ነው፤ ዳሩ ግን ሁሉን ከመዘርዘር አንዱን መርምሮ ስለ ሌሎቹ መገመት ይሻላልና፥ ከቀደሙት አንዱ የሆነው ፖኬሞን ፒንቦል ለምሳሌ ይወሰድ። ይህን ጨዋታ በ1991 ዓ.ም.፥ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1999፥ ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ጌም ቦይ ከለር ለሚባለው በእጅ ለሚያዝ መሣሪያ አወጣው። በትንሹ መስኮት ውስጥ ያዘነበለ ሰሌዳ ይታያል፤ ከሰሌዳው ግርጌ ሁለት መምቻዎች አሉ፤ ኳሱ ከላይ እየተንከባለለ ሲወርድ ልጁ ቍልፉን ተጭኖ በመምቻው ይመልሰዋል፤ ያመለጠው እንደ ሆነ ግን በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ወርዶ ይጠፋል። ኳሱ በታወቀው መንገድ የተመላለሰ ጊዜ በሰሌዳው መካከል የአንድ ፍጥረት ጥላ ይታያል፤ ልጁም በኳሱ በመታ ቍጥር ጥላው ጥቂት በጥቂት እየተገለጠ መልክ ይሆናል፤ ጊዜው ሳያልፍ ደጋግሞ ቢመታው ፍጥረቱ ይያዛል፥ በመዝገብም ይጻፋል። በመዝገቡ የተቈጠሩት ፍጥረቶች 151 ናቸው። ከዚህም በላይ በጨዋታው ካሴት ውስጥ በአንዲት ትንሽ ባትሪ የምትሠራ ሞተር ስላለች ኳሱ ሲጋጭ መሣሪያው በልጁ መዳፍ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ የሌለው ኳስ እንዳለ ሆኖ ይዳሰሳል ማለት ነው።

ፒንቦል ከመስኮት ውስጥ ከመግባቱ በፊት በቡና ቤት የሚቆም ትልቅ ሣጥን ነበረ፤ ስለ እርሱም በአሜሪካ ብዙ ክርክር ተደርጓል። በኒውዮርክ ከተማ ከንቲባው ላጓርዲያ በ1942 በኤውሮፓ አቈጣጠር ቍማር ነው ብሎ አስከለከለው፤ ሣጥኖቹንም በመዶሻ ሲሰብር ፎቶግራፍ ተነሣ። መምቻዎቹ የተጨመሩት ከዚያ በኋላ በ1947 ነውና ፍርዱ ፈጽሞ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ኳሱ አንድ ጊዜ ከተለቀቀ ሰው ሊያደርግ የሚችለው ጥቂት ነበረ። በ1976 ሮጀር ሻርፕ የተባለ ሰው በከተማው ምክር ቤት ሰዎች ፊት ተጫውቶ፥ ኳሱን በየት እንደሚልክ አስቀድሞ ተናግሮ እንደ ተናገረው ስላደረገ፥ ነገሩ የዕድል ሳይሆን የብልሃት ነው ተብሎ ክልከላው ተነሣ። የከተማ ሹማምንት ስለ አንዲት ኳስ ይህን ያህል መድከማቸው ቢያስቅም ጥያቄው የሚያስቅ አይደለም። በሐዋርያት ቀኖና ጳጳስም ቄስም ዲያቆንም ቍማር እንዳይጫወት የተከለከለው ቍማርተኛ የወንድሙን ገንዘብ ያለ ድካም ስለሚመኝ ነው ቢባል፥ በዚህች በእጅ በምትያዝ መሣሪያ ውስጥ የማንም ወንድም ገንዘብ የለም። ጊዜ ትበላለች ቢባል ገበጣም ይበላል። በቍማርነትም በጊዜ አባካኝነትም ብቻ ተከሳ ልትረታ አትችልም።

የሚመረመረው ሌላ ነው። ያ ልጅ 151ዱን ሁሉ ያዝሁ ባለ ጊዜ የያዘው ምንድር ነው?

ለዚህ ጥያቄ የቅኔ ተማሪ ጎረቤቱ ነው። ተማሪው በማለዳ ከመምህሩ ደጅ ተነሥቶ ለቈጠራ ይወጣል፤ ከጥድ ሥር ተቀምጦ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይውላል። ሞፈሩን ተሸክሞ በዚያ የሚያልፍ ገበሬ ያየው እንደ ሆነ ሥራ ፈት ነው ብሎ ይፈርድበታል፤ አንገቱን ደፍቶ የሌለ ነገር ያድናልና። ለእርሱም ምሥጢሩ አስቀድሞ የሚታየው እንደ ጥላ ነው፤ ሰሙን በዚህም በዚያም እየመታ ወርቁን ይገልጠዋል። ቅኔ ማፍለቅ ዘረፋ መባሉም በከንቱ አይደለም። ዳሩ ግን ማታ በመምህሩ ፊት ቆሞ ያገኘውን ከነገረ በኋላ ያ ቅኔ አይጠቅመውም፤ ነገ ያንኑ ይዞ ቢመጣ ጓደኞቹ ይሥቁበታል። የዘረፈውን በየቀኑ ያጣል። ሆኖም ቅኔው ሲሄድ ግእዙን፥ ታሪኩን፥ የመጻሕፍቱን ምሥጢር አስይዞት ይሄዳል። የፒንቦሉ ልጅስ? እጁና ዐይኑ መፍጠናቸው፥ ኳሱ ሲጠፋበትም ሳይናደድ እንደገና መጀመሩ እንደ ትርፍ ይቈጠርለት፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። የፍጥረቶቹ ስም ግን ከመስኮቱ ወጥቶ ወደ ማናቸውም ነገር አያደርሰውም።

እዚህ ላይ ለጨዋታው ጠበቃ የሚሆን ነገር አለ። ፖኬሞንን አስቦ ያወጣው ሳቶሺ ታጂሪ ያደገው በቶኪዮ አጠገብ ባለችው በማቺዳ ነው፤ በልጅነቱም በኩሬና በሜዳ እየዞረ ጢንዚዛና ሌሎች ነፍሳትን መልቀም ይወድ ነበር። ኩሬውና ሜዳው በቤትና በመንገድ ከተሸፈነ በኋላ ለሚወለዱ ልጆች ያ ደስታ እንዳይቀርባቸው ብሎ ነው በ1996 የወጣውን የመጀመሪያውን ጨዋታ ያሰበው። ስለዚህ ጨዋታው ሜዳውን አልገደለውም፤ ለሞተ ሜዳ የተሣለ ሥዕል ነው። እናቱ የሞተችበት ልጅ ሥዕሏን በግድግዳ ሰቅሎ ቢያለቅስ ማን ይነቅፈዋል? እናቱ ከጓዳ እንጀራ እየጋገረች ሥዕሏን ሲመለከት የሚውለው ግን ሌላ ነው።

በመንዝ እናት አልሞተችም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 ሜትር በላይ የሆነው የጓሳ ምድር አለ፤ ስፋቱም 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የአስቦና የጌራ ዘሮች ምድሩን በቄሮ ሥርዓት ጠብቀውታል። አባ ቄራ የተባለው አለቃ ምድሩን ሲዘጋው፥ አብዛኛውን ጊዜ ለሦስት ዓመትና ከዚያም ለሚበልጥ ዘመን፥ ከብት አይገባበትም፥ ሣሩም አይታጨድም ነበረ። ሲከፈት ለቤት ክዳን፥ ለገመድ፥ ለገሳ የሚሆነው ሣር ይታጨዳል። በ1967 ዓ.ም. በመሬት ዐዋጅ ሥርዓቱ ቢፈርስም ሕዝቡ በኋላ መተዳደሪያ ጽፎ ጥበቃውን መለሰው፤ ስፍራውም ዛሬ የጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ይባላል። አንባቢ ያስተውል፤ እነዚህ ሰዎች ምድሩን የያዙት ባለመንካት ነው። በተዘጋበት ዘመን ሁሉ የእነርሱ ነበረ፤ ይልቁንም በተዘጋበት ዘመን።

የመጽሐፍም ነገር ከዚህ ጋራ ይስማማል። አዳም አራዊቱ በፊቱ ባለፉ ጊዜ ለሁሉም ስም አወጣላቸው፤ አንዱን እንኳ ግን አላሰረም። ስም ማውጣቱ ገዥነቱን ያሳያል፤ አንድም ባሕርያቸውን ማወቁን ያሳያል። ኖኅም ከየወገኑ ሰብስቦ ወደ መርከብ ማስገባቱ በእርግጥ መያዝ ነው፤ ነገር ግን የሰበሰባቸው ሊለቃቸው ነው፤ የጥፋት ውኃ በጐደለ ጊዜ መርከቡ ባዶ ሆኖ ቀረ። ባዶ መርከብ ለኖኅ ኪሳራ አልነበረም። በመስኮቱ ውስጥ ያለው መዝገብ ግን የሚደሰተው ሲሞላ ብቻ ነው፤ ከተሞላም በኋላ ልጁ የሚለቀው ነገር የለውም፥ የሚወጣ ነፍስ የለበትምና።

በጓሳ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የለም፤ በአገሩ ሁሉ ያሉት አዋቂዎቹም 500 አይሞሉም ይባላል። ቀበሮው አይጥ ሲያድን በጭላዳ መንጋ መካከል በዝግታ ይመላለሳል፤ ጭላዳዎቹም ግልገሎቻቸውን ይዘው ሣራቸውን እየነጩ አይሸሹትም፥ እርሱም ግልገላቸውን አይነካም። በ2015 በኤውሮፓ አቈጣጠር የታተመ ጥናት እንዳሳየው ከጭላዳ ጋራ ሆኖ ከሞከረው አደን 67 በመቶ ሲሳካለት ብቻውን ሆኖ ግን የሚሳካለት 25 በመቶ ብቻ ነው። ጨካኝ የሚባል አውሬ አይጡን ለመያዝ ግልገሉን መተው እንደሚገባው ዐውቋል። ይህን ከ151ዱ አንዱ ለልጁ ሊያሳየው አይችልም።

እንግዲህ አባት ምን ያድርግ? መሣሪያውን ነጥቆ ቢሰብረው ላጓርዲያን መምሰሉ ነው፤ የእርሱም ክልከላ 34 ዓመት ቆይቶ ተሻረ። ከዚያ ይልቅ በበጋ ወራት በአንዲት ቅዳሜ ማለዳ ልጁን ይዞ ወደ ጓሳ ይውጣ። ቀይ ቀበሮ የሚያድነው በቀን ነውና ከሣሩ ጋራ ተጋድመው ይጠብቁ፤ ብርዱ ይጸናልና ባናም አይርሱ። ምናልባት አይመጣም፤ ጨዋታውም አንዳንድ ቀን እንዲሁ ነው። የመጣ እንደ ሆነ ልጁ የሚመታበት ኳስ፥ የሚጽፍበት መዝገብ የለውም፤ ሊጠጋው ቢነሣም ይሸሸዋል። አባቱ ግን ስሙን ሊነግረው ይችላል፤ የጭላዳውንም፥ የሣሩንም፥ የአሞራውንም። አባት ራሱ የማያውቀው ስም የተገኘ እንደ ሆነ፥ የቄሮን ዘመን በወጣትነታቸው ያዩ ሽማግሎች በየመንደሩ ገና አሉና ማታ ሲመለሱ ሁለቱም አብረው ይጠይቁ።