ቀኑን ሙሉ ሥራ የሚውል ቤተሰብ ውሻ ማሳደግ ይገባዋልን?

ለትምህርተ ክርስቶስ የሚመጡ ልጆች ስለ ፍጥረት በምናስተምርበት ሰሞን ደጋግመው ከሚያነሧቸው ጥያቄዎች አንዱ፣ እንስሳት ነፍስ አላቸውን? የሚል ነው። ወላጆቻቸው የሚያቀርቡልን ጥያቄ ግን ወደ ዕለታዊ ኑሮ የቀረበ ነው። ልጃችን ትንሽ ውሻ እንድንገዛለት ዘወትር ይለምነናል፤ እኛ ደግሞ ሁለታችንም ከማለዳ እስከ ማታ ሥራ ላይ ነን፤ ብንገዛለት በደል ይሆንብናልን? ብንከለክለውስ ልጁን እናሳዝነዋለንን? ይሉናል። ሰው በሚቸገርበት አገር ስለ ውሻ መጻፍ ምን ይባላል የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ይሁን እንጂ ነገሩን ቀረብ ብለን ስንመረምረው፣ ስለ ውሻ የተነሣው ጥያቄ ቤታችን ውስጥ የማን ጊዜ ለማን እንደሚውል የሚያጋልጥ ሆኖ ስላገኘነው በዚህ እትም ልንወያይበት ወደድን።

ቀደም ባለው ጊዜ እንዲህ ያለ ጥያቄ ብዙም አይነሣም ነበር። ውሻ በግቢ የሚኖር፣ ሌሊት ጅብንና ሌባን የሚከላከል፣ ቀን ከአጥሩ ሥር ጥላ ፈልጎ የሚተኛ የቤቱ አገልጋይ ነበረ። ውሻ በበላበት ይጮኻል የሚለው የአበው ብሂል ይህንኑ ውል ያመለክታል፤ እርሱ ይጠብቃል፣ ቤቱም ያበላዋል። ኑሮው የተደላደለ ነበር ለማለት አንደፍርም፤ ዛሬም ቢሆን ከቡችላነቱ ጀምሮ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ የሚያረጅ ውሻ በየሰፈሩ እናያለን፤ ይህም ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ የሚያስፈልገው ጉዳይ ነው። ነገር ግን የግቢ ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን አይውልም። ሰው ይገባል፣ ይወጣል፤ ልጆች ይጫወታሉ፤ የጎረቤት ውሻም ከአጥር ማዶ ይመልስለታል።

አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ቤተሰብ ወደ ኮንዶሚኒየም ሕንፃ ከገባ ወዲህ የውሻውም ሥራ ተለወጠ። አራተኛ ፎቅ ላይ ጅብ አይመጣም፤ ሌባውንም የብረት በሩ ይከለክለዋል። ትንሹ ጸጉራም ቡችላ ወደዚያ የሚወጣው ለወዳጅነት ነው። የተሰጠው ሥራ ወዳጅነት ከሆነ ደግሞ ወዳጆቹ በሌሉበት ሰዓት ሁሉ ሥራ ፈትቶ ይውላል። ከጠዋቱ በአንድ ሰዓት የሚወጣና የታክሲ ሰልፍ ጠብቆ ከምሽቱ በአንድ ሰዓት የሚመለስ ቤተሰብ፣ ውሻውን ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ በተዘጋ በር ውስጥ ይተወዋል ማለት ነው።

ቤተ ክርስቲያን በዚህ ረገድ የምታስተምረን ምንድን ነው? በኦሪት ዘፍጥረት ሰው በእንስሳት ላይ ሥልጣን እንደተሰጠው እናነባለን (ዘፍ. 1፥28)። በቀጣዩ ምዕራፍ ያው ሰው ምድርን እንዲያለማና እንዲጠብቅ በገነት ተቀምጦ፣ ለእንስሳት ለእያንዳንዳቸው ስም ያወጣላቸዋል (ዘፍ. 2፥15-20)። መጽሐፈ ምሳሌም ለእንስሳ ሕይወት ማሰብን ከጻድቅ ሰው ምልክቶች አንዱ አድርጎ ያቀርበዋል (ምሳ. 12፥10)። እ.ኤ.አ. በ1992 ይፋ የሆነው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2418 ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። በአንድ በኩል እንስሳትን ያለ በቂ ምክንያት ማሠቃየት የሰውን ክብር እንደሚቃወም ይገልጻል፤ በሌላ በኩል ደግሞ በቅድሚያ የሰዎችን ችግር ለማቃለል ሊውል የሚገባውን ገንዘብ ለእንስሳት ማፍሰስ፣ ለሰው ብቻ የሚገባውንም ፍቅር ለእነርሱ መስጠት ተገቢ እንዳልሆነ ያስጠነቅቃል። እንስሳትን መውደድ ግን ይቻላል ይላል። ብዙውን ጊዜ እያንዳንዳችን ከዚህ ትምህርት የሚስማማንን ግማሽ ብቻ ይዘን እንሄዳለን፤ ውሻ የሚወደው የመጀመሪያውን፣ ውሻ የማይወደው ሁለተኛውን።

ማሠቃየት ሲባል በዱላ መምታትን ብቻ የምናስብ ከሆነ፣ ውሻ ምን ዓይነት ፍጡር እንደሆነ አልተረዳንም። እ.ኤ.አ. በ1914 በጀርመን አገር በቦን ከተማ አጠገብ ኦበርካሰል በተባለ ስፍራ፣ ከአንድ ወንድና ከአንዲት ሴት ጋር የተቀበረ የውሻ ዐፅም ተገኝቶ ነበር፤ ዕድሜውም ወደ 14,000 ዓመት ይጠጋል። ጥርሶቹን በቅርብ ዓመታት የመረመሩ ሊቃውንት፣ ይህ ውሻ ገና ቡችላ ሳለ በከባድ በሽታ ለሳምንታት እንደታመመና ሰው ባያስታምመው ኖሮ ያን ያህል ሊቆይ እንደማይችል ደርሰውበታል። የታመመ ቡችላ ለአደንም ለጥበቃም አይጠቅምም፤ ሆኖም አንድ ሰው ውኃ አጠጥቶታል፣ አጽድቶታል፣ በመጨረሻም ከሰዎች ጋር ተቀብሯል። በዚህ ሁሉ ዘመን ሰው ውሻን ከመንጋው አውጥቶ የራሱ ቤተሰብ አድርጎታል። እንግዲህ ለውሻ ብቸኝነት እንደ ረኀብና እንደ ጥም የሚቆጠር መሆኑን የፈጠርነው እኛው ነን ማለት ይቻላል።

ያደገና የለመደ ውሻ የቀኑን እኩሌታ ወይም ከዚያ በላይ ስለሚተኛ ጥቂት ሰዓታት ብቻውን ቢቆይ አይጎዳም። ሁለትና ሦስት ወር የሆነው ቡችላ ግን ሽንቱን ከሁለት ወይም ከሦስት ሰዓት በላይ መያዝ አይችልም፤ በየጥቂቱ ይመገባል፤ ሰውን ማመንም የሚማረው በእነዚያው ሳምንታት ነው። ለረጅም ሰዓት የተዘጋበት ውሻ ይጮኻል፣ በሩን ይቧጭራል፣ ጫማና ሶፋ ያኝካል፤ ማታ የተመለሰው ጌታም ባለጌ ነው ብሎ ይቀጣዋል። ውሻው ግን ጠዋት ለሆነው ነገር ማታ የሚመታበትን ምክንያት አያውቅም። እንዲህ ያለውን ቅጣት ያለ በቂ ምክንያት የሚደረግ ሥቃይ ከማለት በቀር ሌላ ስም ልናገኝለት አልቻልንም።

በመጽሐፈ ጦቢት ውስጥ የሚገኘው ውሻ ዘወትር ይገርመናል። ወጣቱ ጦብያ ከመልአኩ ሩፋኤል ጋር ለጉዞ ሲነሣ ውሻውም አብሮ ይሄዳል፤ ሲመለሱም ከኋላቸው ይከተላል። ስም የለውም፤ ዓሣውን አይዝም፤ ጋኔኑንም አያባርርም። ሥራው አብሮ መሄድ ብቻ ነው፤ ቅዱስ መጽሐፍም ይህን ያህሉን ሳያልፍ መዝግቦለታል። ይህ ውሻ ቤት ተዘግቶበት ቢቀር ኖሮ፣ ማንም ቢቀልበው እንኳ፣ ከውሻነቱ የቀረው ምን ነበር?

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። ወላጆችን ውሻውን ቀን ማን ይጠብቀዋል? ብለን ስንጠይቃቸው ብዙዎቹ ሳያመነቱ፣ ሠራተኛ አለችን ይላሉ። ለመሆኑ እርሷ ተጠይቃለችን? ከገጠር የመጣች ልጅ ውሻን የምታውቀው ከደጅ ነው፤ ባደገችበት ቤት ውሻ ከጓዳ ቢገባ ዕቃው ሁሉ እንደ ረከሰ ተቆጥሮ ይታጠባል። አሁን ግን የውሻ ሽንት ከሳሎኑ ምንጣፍ ላይ እንድታጥብ፣ ደረጃውን ይዛው እንድትወርድ፣ ካሻውም ከአልጋው ሥር ተንበርክካ እንድታወጣው ትታዘዛለች። ልብስ ማጠቡ፣ ወጥ መሥራቱ፣ ሕፃኑን ከትምህርት ቤት ማምጣቱ አልቀነሰላትም፤ ደመወዟም አልጨመረም። እምቢ ብትል ሥራዋን እንዳታጣ ትፈራለች። ልጁ ውሻው የእኔ ነው ይላል፤ እናቱ ልጄ ርኅራኄ እየተማረ ነው ትላለች፤ ርኅራኄውን በእጇ የምትሠራው ግን ሌላ ናት። ለውሻው ሥጋ ተገዝቶ እርሷ ሽሮ የምትበላበት ቤትም አይታጣም፤ በዚያ ቤት ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2418 የሚያስጠነቅቀው ነገር ደርሷል ብለን ሳንሸሽግ እንናገራለን።

የሰንበትን ዕረፍት የሚያዝዘው ቃል ለዚህ ጉዳይ ልዩ ብርሃን ይሰጣል። በኦሪት ዘዳግም (5፥14) ከሥራ እንዲያርፉ ከተዘረዘሩት መካከል ወንድና ሴት አገልጋዮች፣ በሬና አህያ፣ ሌሎች እንስሳትም በአንድ ቁጥር ይገኛሉ። እግዚአብሔር አገልጋይቱንና እንስሳውን አንድ ላይ ያሰባቸው ሁለቱም ከጌታው ፈቃድ በታች ስለሆኑና ለራሳቸው መከራከር ስለማይችሉ ይመስለናል። ስለዚህ ለአንዱ የተደረገ ቸርነት በሌላይቱ ትከሻ ላይ የሚጫን ከሆነ የትእዛዙ መንፈስ ተጥሷል። በሊማ ከተማ የኖረውና እ.ኤ.አ. በ1962 ቅድስናው የታወጀለት ዶሚኒካዊው ወንድም ማርቲኖስ ዘፖረስ፣ የታመሙና ባለቤት የሌላቸው ውሾችን እየሰበሰበ በእኅቱ ቤት ያስጠጋቸው እንደነበር የሕይወት ታሪኩ ይተርካል። የቅዱሱን ርኅራኄ ስናደንቅ የእኅቱንም መጥረጊያ ማሰብ ተገቢ ነው።

ስለ ልጁ ልመናም ጥቂት እንበል። ልጅ ውሻ ሲለምን ሁልጊዜ ውሻ ብቻ እየለመነ ላይሆን ይችላል። ከትምህርት ቤት ተመልሶ የሚያናግረው ሰው የሌለው ልጅ፣ ወላጆቹ ሲመጡም ደክመው ቴሌቪዥን ፊት የሚቀመጡበት ልጅ፣ የሚሻው በሩ ሲከፈት የሚደሰትበትን ፍጡር ነው። በአንዳንድ ቤት ደግሞ አያት በአንደኛው ክፍል ቀኑን ሙሉ መቁጠሪያቸውን ይዘው ብቻቸውን ተቀምጠው ይውላሉ። ማታ ለውሻው የሚሆን አንድ ሰዓት የተገኘበት ቤተሰብ ለእርሳቸው ሩብ ሰዓት ካጣ፣ ጊዜ የለንም የሚለው ምክንያት ውሸት ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ያረፉት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ፣ በጥር ወር 2022 ስለ ቅዱስ ዮሴፍ ባስተማሩበት ጊዜ፣ ውሻና ድመት የልጆችን ቦታ እየያዙ መሆናቸውን በመናገራቸው በብዙ አገር ቅሬታ ተነሥቶ ነበር። ንግግራቸው በተለይ ልጅ መውለድን ስለሚሸሹ ባለትዳሮች ስለነበር በእኛ አገር ያለውን ሁኔታ በቀጥታ አይነካም እንላለን። ይሁንና አንዱ የሌላውን ቦታ ሊይዝ መቻሉ እዚህም ያለ ነገር ነው፤ በእኛ ዘንድ ቦታው የሚወሰድበት ብዙውን ጊዜ ሽማግሌው ነው።

ስለ ገንዘቡና ስለ ጤናው ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ወላጆች ያውቁታል። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ዛሬም ሰው ስለሚገድል ያልተከተበ ውሻ ከሕፃናት ጋር ማኖር አይፈቀድም ብለን እንመክራለን፤ የተነከሰ ሰው ቢኖር ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ትንንሽ ውሾች ዐሥራ ሁለት፣ ዐሥራ አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ እንደሚኖሩም መታወቅ አለበት። ዛሬ አራተኛ ክፍል ያለው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ውሻው ገና ቤት ውስጥ ይሆናል።

እንግዲህ ለተጠየቅነው መልስ እንስጥ። ቀኑን ሙሉ ቤቱ ባዶ ሆኖ የሚውል ቤተሰብ ቡችላ ባይወስድ ይሻላል የሚል ነው አስተያየታችን። ከመንገድ ዳር ገና ጡት ያልጣለ ቡችላ ገዝቶ ከወር በኋላ መልሶ መንገድ ላይ መጣል ከሁሉ የከፋ ነው። ነገር ግን ከባልና ሚስቱ አንዱ ግማሽ ቀን የሚሠራ ከሆነ፣ ወይም አያት ራሳቸው ወድደውት አብረውት የሚውሉ ከሆነ፣ ወይም ሠራተኛዋ በግልጽ ተጠይቃ፣ ከሌላው ሥራዋ ተቀንሶላትና ክፍያዋ ተስተካክሎላት ፈቅዳ ከሆነ፣ ያደገና ረጋ ያለ ውሻ ለማምጣት የሚከለክል ነገር አናይም። እንዲህ ባለ ቤት ልጁ ከመጽሐፍ ብቻ የማይማረውን ይማራል። ሥራ የሚውሉ ሰዎች ሁሉ ውሻ አያሳድጉ ማለታችን አይደለም፤ ሥራችን የዕለት እንጀራችን ነውና አናፍርበትም።

ለልጁ አይሆንም የሚሉ ወላጆችም ምክንያቱን በግልጽ ይንገሩት። አቅም የለንም ከማለት፣ ብቻውን ስለሚውል እናዝንለታለን ቢሉት ርኅራኄውን በክልከላው ውስጥ ያየዋል። በሕንፃው ግቢ የሚኖሩትን ውሾች ስም አውጥቶ ውኃ እንዲያኖርላቸው፣ ከአዋቂ ጋር ሆኖ ጎረቤት ያሳደገውን ውሻ ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲያንሸራሽር ሊፈቀድለት ይችላል። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ይህን ጥያቄ በክፍል ቢያነሡት፣ ስለ ፍጥረት አደራ የሚያስተምሩት ትምህርት ሕያው ይሆንላቸዋል።

አሁንም ያልቆረጡ ቤተሰቦች ከመግዛታቸው በፊት አንድ ወር ያለ ውሻ ይለማመዱ። ማለዳ ከልማዳቸው ግማሽ ሰዓት ቀድመው ተነሥተው፣ ልጁም ጭምር፣ አራቱን ፎቅ ወርደው ሕንፃውን ሁለት ጊዜ ዞረው ይመለሱ፤ ማታም ከእራት በፊት እንዲሁ ያድርጉ። በስንተኛው ሳምንት ማን ከአልጋው ሳይወርድ እንደቀረ፣ የማንስ ተራ በሠራተኛዋ ላይ እንደወደቀ በወረቀት ይመዝግቡት። የተለማመዱት በበጋ ከሆነ ደግሞ፣ ሐምሌ ሲገባ እንደገና ይሞክሩት።