የእጅ ሙያ የእግዚአብሔር ሀብት ነው
(ወጣቶችን ተግባረ እድ ስለ ማስተማር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ልዑል እግዚአብሔር ለሙሴ በደብረ ሲና የደብተራ ኦሪትን ሥራ ባዘዘው ጊዜ፣ ታቦቱንና መቅረዙን፣ መሠዊያውንና አልባሳተ ክህነቱን የሚሠራውን ሰው ራሱ መረጠ፤ በስሙም ጠራው። ይኸውም ከይሁዳ ነገድ የሆነው የኡሪ ልጅ ባስልኤል ነው። እግዚአብሔርም በመንፈሱ እንደ መላው ለሙሴ ነገረው። ይህ መሞላት ትንቢት ለመናገር፣ ወይም መሥዋዕት ለማቅረብ፣ ወይም በሕዝብ ላይ ለመሾም አልነበረም፤ ወርቅንና ብርን፣ ናስንም ለመሥራት፣ ድንጋይ ለመቅረጽ፣ እንጨት ለመጥረብ ነበር እንጂ። ረዳት እንዲሆነውም ከዳን ነገድ ኤልያብን ሰጠው (ዘጸ. 31፣ 1-6)። ይሁዳ ነገሥታት የሚወጡበት ነገድ ነው፤ ዳን ግን ከአገልጋይቱ ከባላ የተወለደው ልጅ ነገድ ነው። እንግዲህ የንጉሡ ዘርና የአገልጋይቱ ዘር በአንድ የሥራ ቦታ፣ በአንድ መንፈስ ተገናኙ ማለት ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው የምናልፈው አንድ ቃል አለ። ሙሴ ነገሩን ለሕዝቡ በገለጸ ጊዜ፣ እግዚአብሔር በባስልኤልና በኤልያብ ልብ ያሳደረው ጥበበ እድን ብቻ እንዳልሆነ፣ ሌሎችን የማስተማርንም ሀብት ጭምር እንደ ሆነ ተናግሯል (ዘጸ. 35፣ 34)። ይህም የሚያስረዳን፣ የእጅ ሙያ ለባለ ሙያው ብቻ ተሰጥቶ ከእርሱ ጋር የሚቀበር ሀብት አለመሆኑን ነው። ሠሪው ካላስተማረ ስጦታው ጎደሎ ነው። እንደዚሁም ወጣቱ በእጁ እየሠራ የሚማርበትን ቦታ የሚያዘጋጅ፣ መሣሪያ የሚገዛ፣ መምህሩን የሚደግፍ ሁሉ ከባስልኤል ሥራ ድርሻ አለው።

ስለ ሥራ ክብር ከዚህ የሚበልጥ ምስክር የሚሻ ቢኖር፣ ወደ ናዝሬት ይመልከት። ሰማይንና ምድርን የፈጠረ ጌታ በሥጋ በተገለጠ ጊዜ፣ ከጸራቢው ከአረጋዊ ዮሴፍ ቤት አደገ። የአገሩ ሰዎች ትምህርቱን ሰምተው ከተደነቁ በኋላ የተሰናከሉበት ምክንያት ምን ነበር? የጸራቢ ልጅ ነው፤ ራሱም ጸራቢ ነው በማለታቸው አይደለምን (ማቴ. 13፣ 55፤ ማር. 6፣ 3)? ስለዚህ ሰውን በእጁ ሥራ ምክንያት መናቅ በወንጌል ውስጥ አስቀድሞ የተገኘው በማን አፍ እንደ ሆነ እናስተውል፤ ጌታቸውን ባልተቀበሉት በናዝሬት ሰዎች አፍ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ከገማልያል እግር ሥር የተማረ ሊቅ ሲሆን፣ በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ ይኖር ነበር (የሐዋ. 18፣ 3)። ኋላም የኤፌሶንን ቀሳውስት በተሰናበተ ጊዜ፣ ለራሱና አብረውት ለነበሩት ያስፈለገውን ያቀረቡት እጆቹ እንደ ሆኑ አሳሰባቸው (የሐዋ. 20፣ 34)።

እንግዲህ እኛስ እንዴት ነን? በሀገራችን ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸክላ የምትሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን፣ ሸማ የሚሠራውን በስድብ ስም መጥራት ለብዙ ዘመን የኖረ ክፉ ልማድ ነው። ቡዳ ነው እየተባለ ማዕድ የተከለከለ፣ ጋብቻ የተነፈገ፣ ከመንደር ዳር እንዲኖር የተደረገ ባለ ሙያ ስንቱ ነው! ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ዐዋጅ አስነግረው፣ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን ከልክለው ነበር። ዐዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ንቀቱ ግን ከልባችን ፈጽሞ አልወጣም። ይህ በሌላው ሰው ላይ ይቅርና በቤተ ክርስቲያን ልጆች ላይ ሲታይ እጅግ ያሳዝናል። በእጃችን ይዘን የምንባርክበትን መስቀል ያቀለጠውና የቀረጸው ማን ነው? የምናጥንበትን ጽና፣ የምንመታውን ከበሮ፣ የምንለብሰውን ካባ የሠራው ማን ነው? መስቀሉን እየተሳለሙ መስቀሉን የሠራውን እጅ መናቅ እንዴት ይስማማል? በላስታ ተራሮች ከአለት ተፈልፍለው የወጡትን 11 አብያተ ክርስቲያናት ልናይ በየዓመቱ ለልደት በዓል እንጎርፋለን፤ ነገር ግን ከዚያው ሀገር የተወለደ ልጃችን ድንጋይ ጠራቢ ልሁን ቢለን ፊታችን ይጠቁራል።

ይህ ንቀት ዛሬ የሚጎዳው በተለይ ወጣቶችን ነው። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ወደ 900,000 ከሚጠጉ ተማሪዎች መካከል፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት ከመቶ 3.3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ልጆች የማን ናቸው? በየሰንበቱ በቅጽረ ቤተ ክርስቲያናችን ተሰልፈው የሚዘምሩት፣ በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆመው የሚያስቀድሱት ልጆቻችን አይደሉምን? ወላጅ ልጁ ከፈተናው ሲመለስ፣ ሁሉም ነገር ያለቀ ያህል አንገቱን ይደፋል። የሙያ ማሠልጠኛ ሂድ ብሎ ቢመክረውም፣ እንደ ቅጣት አድርጎ ይነግረዋል። ልጁም እንደ ተቀጣ ሆኖ ይገባል፤ ወይም ይህን ውርደት ሸሽቶ በየብስና በባሕር ወደማያውቀው ሀገር ይሰደዳል። ከእነዚህ ውስጥ በመንገድ የቀሩትን እኛ ካህናቱ በፍትሐት እናውቃቸዋለን።

የእጅ ባለ ሙያ የሌለው ሕዝብ ምን እንደሚደርስበት መጽሐፍ ቅዱስ ይነግረናል። በሳኦል ዘመን በእስራኤል ምድር ሁሉ አንድ ብረት ሠሪ አልተገኘም ነበር፤ ፍልስጥኤማውያን ሆን ብለው አጥፍተውት ነበርና። ስለዚህ እስራኤላዊ ሁሉ ማረሻውንና መጥረቢያውን ለማሳል ወደ ጠላቱ ሀገር እየወረደ ዋጋ ይከፍል ነበር፤ የጦርነት ቀን በደረሰ ጊዜም ከሳኦልና ከዮናታን በቀር ሰይፍና ጦር የያዘ አልነበረም (1ኛ ሳሙ. 13፣ 19-22)። በዚያን ጊዜ ብረት ሠሪን ያጠፋው ጠላት ነበር። እኛ ግን የገዛ ባለ ሙያችንን በገዛ ምላሳችን ካጠፋን በማን እናማርራለን? ፓምፑ ሲበላሽ፣ የወፍጮው ሞተር ሲቆም፣ የጤና ጣቢያው መብራት ሲጠፋ፣ የሚጠግን እጅ ካላሳደግን ሁልጊዜ ማረሻችንን ይዘን ወደ ሌላው ሀገር መውረዳችን አይቀርም።

አንዳንድ ሰዎች፣ ይህ የመንግሥት ጉዳይ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነፍስን ማዳን ነው ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነፍስን ማዳን ነው። ነገር ግን ሥራ የፈታ ሰው ነፍስ በምን ዐይነት ፈተና ውስጥ እንዳለች ከአበ ነፍስ በላይ የሚያውቅ የለም። ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል የሚለውን ተረት አባቶቻችን በከንቱ አልተናገሩትም። አባ እንጦንስ በበረሐ ሳለ በታካችነት መንፈስ በተፈተነ ጊዜ፣ መልአክ ተገልጦ ተቀምጦ ገመድ ሲታታ፣ ደግሞ ተነሥቶ ሲጸልይ አሳየው፤ እንደዚሁ ብታደርግ ትድናለህ አለው። ስለዚህ ለመነኮሳት አባት እንኳ የእጅ ሥራ የመዳን መንገድ ረዳት ሆኖ ተሰጥቷል። ሲራክም ስለ ብረት ሠሪውና ስለ ሸክላ ሠሪው ከተናገረ በኋላ፣ ያለ እነርሱ ከተማ እንደማይቀና፣ ጸሎታቸውም በሥራቸው ውስጥ እንደ ሆነ ያስረዳል (ሲራ. 38)።

ደግሞስ በእጅ እየሠሩ መማር ለቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ ነውን? ትምህርት ቤታችን የአብነት ትምህርት ቤት ይባላል፤ አብነት ማለት አይተው የሚከተሉት ምሳሌ ነው። ጽሕፈት የሚማረው ደቀ መዝሙር በወሬ ብቻ አይማርም። የፍየሉን ቆዳ በውኃ ዘፍዝፎ፣ በመወጠሪያው ወጥሮ፣ ፍቆና አለስልሶ ብራና ያደርጋል፤ ቀለሙን ይበጠብጣል፣ መቃውን ይቀርጻል፣ ከዚያ በኋላ ከመምህሩ ጎን ተቀምጦ ፊደል ይጥላል። ቢያበላሽ መምህሩ ያርመዋል፤ ደግሞ ይጽፋል። ጠርዞና ደጉሶ ሲጨርስ መጽሐፉ ራሱ ምስክር ይሆንለታል። ዝማሜውም ሽብሸባውም በእጅና በእግር የሚማሩት ነው። ዛሬ በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት ወጣቱ ብየዳን፣ የቧንቧን ሥራ፣ የኤሌክትሪክ መሥመር ዝርጋታን፣ የኮምፒዩተር ጥገናን የሚማርበት መንገድ፣ መሣሪያው ቢለወጥም ሥርዐቱ ይኸው ነው። ከአምስቱ ዓመት የጠላት ወረራ በኋላ በአዲስ አበባ የተከፈተው የሙያ ትምህርት ቤት ተግባረ እድ ተብሎ በግእዝ መሰየሙም ያለ ነገር አይደለም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ምክር ብቻውን እጅን አያሠራምና፣ በየአጥቢያችን ሊደረጉ የሚችሉ አራት ነገሮችን ላሳስብ።

በመጀመሪያ፣ ካህናት በዐውደ ምሕረት ላይ ባለ ሙያን መስደብ ኀጢአት መሆኑን በግልጥ እናስተምር። በንስሐ ጊዜም ስለ ስርቆትና ስለ ዝሙት እንደምንጠይቅ፣ ወንድምህን በሥራው ንቀህ ታውቃለህን? ብለን እንጠይቅ።

ሁለተኛ፣ ጋራዥ፣ የእንጨት ሥራ ቤት፣ የልብስ ስፌት ቤት ያላችሁ ምእመናን ሆይ፤ ሠልጣኙን ተቀበሉት። ወጣቱ በትምህርት ቤት የተማረውን በሥራ ቦታ ካልፈተነው ዕውቀቱ ከአንገት በላይ ይቀራል። ብዙዎች ግን ዕቃ ይሰብርብናል በማለት በራቸውን ይዘጋሉ። የተቀበላችሁትም ሻይ እንዲያመጣና ወለል እንዲጠርግ ብቻ አታድርጉት፤ ሙያውን አስተምሩት፤ ዐይኑንና እጁን ከአደጋ ጠብቁ፤ ሲሠራም ዋጋውን አታስቀሩበት። የሠራተኛ ደመወዝ ሲቀር ጩኸቱ ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚደርስ ሐዋርያው ያዕቆብ አስጠንቅቋልና (ያዕ. 5፣ 4)።

ሦስተኛ፣ ሰበካ ጉባኤ ቤተ ክርስቲያን ሲያሠራ፣ በርና መስኮት ሲያስገጥም፣ አጥር ሲያሳጥር፣ ሥራውን የሚይዘው ባለ ሙያ ከአጥቢያው ሁለት ወጣቶችን እያስተማረ እንዲሠራ በውሉ ውስጥ ያስገባ። እንዲህ ከተደረገ ሕንፃው ሲፈጸም ባለ ሙያዎችም አብረው ይፈጸማሉ።

አራተኛ፣ የጽዋ ማኅበራትና ሰንበቴዎች ትምህርቱን ለጨረሰ ወጣት መሣሪያ ይግዙለት። ወረቀት ይዞ መሣሪያ ያጣ ተመራቂ፣ በሬ እንደሌለው ገበሬ ነው። ሲቋቋም ገንዘቡን ቀስ በቀስ ይመልስና ለሚቀጥለው ወጣት መሣሪያ ይገዛበት። በዚህም ሴቶች ልጆቻችን አይዘንጉ፤ ጣቢታ በሠራቻቸው ልብሶች ምክንያት መበለቶች እንዳለቀሱላት፣ ጌታም በጴጥሮስ ጸሎት እንዳስነሣት እናስታውስ (የሐዋ. 9፣ 36-41)።

ለእናንተም ለወጣቶች ጥቂት ቃል አለኝ። ሙያ ስትማሩ ፊደልን አትተዉ፤ የሚያነብና የሚያሰላ ሠራተኛ መሣሪያው በተለወጠ ቁጥር አብሮ ይለወጣል፤ የማያነብ ግን ከአሮጌው መሣሪያ ጋር ይቀራል። በሥራችሁም ታማኞች ሁኑ። የላላ ብሎን ማንም ባያየው እግዚአብሔር ያየዋል፤ የሰው ሕይወትም በእርሱ ላይ ተንጠልጥሎ ሊሆን ይችላል። ቅዱስ ጳውሎስ በእጅ መሥራትን ያዘዘው ለራስ ሆድ ብቻ ሳይሆን፣ ለተቸገረው የሚካፈል እንዲገኝ ነው (ኤፌ. 4፣ 28)። ስለዚህ ከመጀመሪያው ደመወዛችሁ ለድኻው ድርሻ አስቡ፤ ነገም ከጎናችሁ ለሚቆመው ታናሽ ወንድማችሁ ሙያችሁን አትሸሽጉ።

ባስልኤልን በስሙ የጠራ አምላክ የእኛንም ልጆች በስማቸው ያውቃቸዋል። በእጃቸው ያለውን ሀብት ያየነው እንደ ሆነ እናክብረው፤ ያላየነው እንደ ሆነም እንዲታይ ቦታ እንስጠው። ለባስልኤል ጥበብን የሰጠ፣ በናዝሬት ከሠራተኛ ቤት ያደገ አምላካችን የወጣቶቻችንን እጅ ይባርክ፤ ሀገራችንንም በሠሪዎቿ ያጽና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።